የእንቁራሪቷ ወለል

«ቀስ በይ፤ ዓይኔ ውስጥ ልትረጪው ነው» አለች ዌኒንግ ፊቷን በክንዷ እየከለለች።

ላራስ አልሰማቻትም። አንዱን ፍሬ ለሁለት ገምሳ፣ ዝገት የወረሰውን የፊት መብራት ክፈፍ እያሸች ነበር። ጣት የሚያህል አረንጓዴ ፍሬ ነው፤ ከመኮምጠጡ የተነሣ ሲነክሱት ጥርስ ያደነዝዛል። ከእነ ዌኒንግ ጓሮ በቅርጫት ለቅመው ነው ያመጡት። ጭማቂው ዝገቱን ሲነካው ሻይ የመሰለ ውሃ ይወርዳል፤ በጨርቅ ሲጠርጉት ከሥሩ ብርማ ነገር ብልጭ ብሎ ይጠፋል፤ እንደገና ሲያሹት እንደገና ብልጭ ይላል። ላራስ ይህን እያየች ብትውል አይሰለቻትም።

«አንቺ፣ ሄድሽ እንዴ?»

«የት?»

«እኔ ምን አውቄ። ባሕሩ ላይ ነዋ። እየቀዘፍሽ።»

«ሙድ አትያዢብኝ።»

ጓደኛዋ ዌኒንግ ሳቀች። በሰማራንግ ወደብ ጥግ ባለችው በዚያች ሰፈር ስለ መቅዘፍ ተነሥቶ የማይስቅ ሰው የለም። ከላራስ ቤት ጎን፣ በጡብ ላይ ተደግፋ፣ ሸራ ለብሳ ዓመታት ያሳለፈችውን አሮጌ ቮልስዋገን ሁሉም የሚያውቃት «እንቁራሪቷ» በሚል ስም ነው። ታሪኳንም ሁሉም በቃሉ ይወጣዋል። ተራኪው የላራስ አባት ባግዮ ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ላራስ በተወለደችበት ማለዳ ባሕሩ ከወትሮው አልፎ ሰፈሩን ዋጠው። እናቷ ሙርኒ ምጥ ይዟታል። ባግዮ ሚስቱን ከኋላ ወንበር አስተኝቶ ሞተር አስነሣ። ውሃው ከበሩ እኩል ሲደርስ መኪናዋ መስመጧ ቀርቶ ብድግ ብላ ተንሳፈፈች። ባግዮ በመስኮት ወጥቶ ጣሪያዋ ላይ ተፈናጠጠና በድስት ክዳን እየቀዘፈ፣ በየደጁ የቆመውን ሰው ሰላም እያለ፣ ጤና ጣቢያው በር ላይ አቆማት። ላራስ የዓለምን ብርሃን ያየችው የባሕር ውሃ ከመኪናዋ ላይ ተንጠባጥቦ ሳያልቅ ነው።

ሻይ ቤት ውስጥ ይህን ሲያወራ ሰው እንባው እስኪመጣ ይስቃል። ላራስ ግን ስቃበት አታውቅም። ልጅ ሳለች ከሸራው ሥር ሹልክ ብላ ገብታ ከኋላ ወንበር ላይ ትተኛ ነበር። ዓይኗን ስትጨፍን መኪናዋ ከጡቡ ላይ ቀስ ብላ ተነሥታ፣ በጠባቡ መንገድ መሃል፣ በግድግዳና በግድግዳ መካከል ትንሳፈፋለች። ሕፃን ያላየውን አያስታውስም፤ ገና ያልተወለደ ደግሞ ጭራሽ። ላራስ ግን ያ መወዛወዝ ትዝ ይላት ነበር። ለማንም ተናግራው አታውቅም።

በእነሱ ሰፈር ባሕሩ እንደ ዘመድ ሳይጠሩት ይመጣል። ዝናብ በሌለበት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከቦዩ ሞልቶ ደጁን ያለብሳል። ሰው የቤቱን ወለል በአፈር ከፍ ያደርጋል፤ ውሃው ይከተለዋል፤ እንደገና ከፍ ያደርጋል። የላራስ አባት አሁን ወደ ቤት ሲገባ አንገቱን ይሰብራል፤ ጣሪያው እዚያው ሆኖ ወለሉ ወደ ላይ መጥቶበት ነው። ጨው ያልነካው ብረት የለም። የበሩ ማጠፊያ፣ የብስክሌቱ ሰንሰለት፣ የመስጊዱ አጥር ሳይቀር ቀይ ለብሷል።

ዘንድሮ ግን ለነጻነት በዓል ሰፈሩ ሰልፍና መድረክ አዘጋጅቷል። ባግዮ በሰው መኪና ሹፍርና ከጀመረ ወዲህ የተዋትን እንቁራሪት አድሶ ከሰልፉ ፊት ሊነዳት ለኮሚቴው ቃል ገባ። ታሪኩን መድረክ ላይ የምታወራው ላራስ ናት ተባለ። «የባሕር ልጅ ራሷ ብትናገረው ያምራል» አሉ።

ስለዚህ ከትምህርት ቤት መልስ ሥራዋ ይኸው ሆነ። ብሎኖቹና ዳዶዎቹ አቼቶ በተሞላ ባልዲ ውስጥ ይተኛሉ፤ ፓራውርቱን በሽቦ ብሩሽ ትፍቃለች፤ ከጎማው በላይ ላለው ፓራፋንጎ ብርጭቆ ወረቀት ነው። ማታ አባቷ ከሥራ ሲመለስ የፋቀችውን ዝገት የሚከላከል አንቲራስት ይቀባል። እጇ ቆሻሻ ሆኖ ከልብሷ ኮምጣጤ ይሸታል፤ ሆኖም እንደዚያ ሰሞን ደስ ብሏት አያውቅም። ዝገቱ በተነሣ ቁጥር መኪናዋ ከእንቅልፏ የምትነቃ ይመስላት ነበር።

ዌኒንግ እናቷ ጠርታት ሄደች። ላራስ የኋላውን ወንበር ነቅላ አወጣችና የተበላውን ምንጣፍ ገለበጠችው። ከሥሩ ወፍራም ሬንጅ ተለጥፏል። በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ጠርዙን ስትፈነቅለው እንደ ቅርፊት ተላጠ። ከሬንጁ ሥር ባለ ቀለም ቆርቆሮ ብቅ አለ። ሥዕል አለበት፤ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ብስኩት የሚበሉ ልጆች። ቀለሙ ትናንት የታተመ ይመስላል። ላራስ ፈገግ አለች። ቆርቆሮውን ስታነሣው ግን ወለሉ አብሮት ተነሣ። ትሪ የሚያህል ቀዳዳ አፉን ከፈተ፤ በቀዳዳው ውስጥ ከታች ያለው መሬት ታየ። አንዲት ትንሽ ሸርጣን ቆም ብላ ሽቅብ የተመለከተቻት መሰለና ወደ ጥላው ሸሸች።

እናቷ የታጠበ ልብስ ልታሰጣ ወጥታ ነበር። ቆርቆሮውን በላራስ እጅ ስታይ ፊቷ በራ።

«ውይ፣ ይሄ እስካሁን አለ? እትዬ ሳርፒ እኮ ናት ይዛው የመጣችው፤ አንቺን ልታይ ስትመጣ። ብስኩቱን እኔ ጨረስኩት፤ ቆርቆሮውን አባትሽ ወስዶ ቀዳዳውን ደፈ—»

ሙርኒ የጀመረችውን ቃል ዋጠችው። እርጥቡ ልብስ እጇ ላይ ይንጠባጠባል።

«እኔን ልታይ?» አለች ላራስ። «ከተወለድኩ በኋላ ማለት ነው?»

እናቷ ዓይኗን ወደ ልብሱ መለሰች።

«ስወለድ እንግዲህ ይሄ ቀዳዳ ነበር ማለት ነው። እማዬ፣ እንዲህ ሆና እንዴት ተንሳፈፈች?»

ሙርኒ ልብሱን ገመዱ ላይ ጣል አድርጋ ከመኪናዋ ደፍ ላይ ተቀመጠች። ቀዳዳውን ተመለከተች።

«አልተንሳፈፈችም» አለች በመጨረሻ። «የመንገዱ አፍ ድረስ ሄደን ውሃ ጠጣችና ቆመች። ውሃው በዚህ በኩል እንደ ምንጭ ይፈልቃል። እኔ እጮኻለሁ። አባትሽ ወርዶ ይገፋታል። ‹አሁን ትነሣለች፣ አሁን ትነሣለች› ይላል። ያኔ እንጀራችን እሷው ነበረች፤ ዓሣ የምናመላልሰው በእሷ ነው። ትቷት መሄድ አልሆነለትም።»

«አንቺስ?»

«እኔን ሴቶቹ ወሰዱኝ። እትዬ ሳርፒ ዓሣ ከምታጨስበት ቤት የቀርከሃ አግዳሚዋን አስወጣችና እዚያ ላይ አጋደሙኝ። ውሃው ደረታቸው ድረስ ነው። ትከሻቸው ላይ አድርገው ወደ ጤና ጣቢያው ሲሄዱ እንደ ጀልባ ያወዛውዘኝ ነበር።»

ላራስ ያን ከኋላ ወንበር ላይ ትዝ ይላት የነበረውን መወዛወዝ አሰበች።

«አባዬ መቼ መጣ?»

«ከተወለድሽ በኋላ» አለች እናቷ። «ብዙ ቆይቶ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አላችሁት? ሰው ሁሉ ያውቃል ማለት እኮ ነው። እኔ ብቻ ነኝ ፋራዋ።»

«የስም ማውጫሽ ድግስ ላይ ነው መጀመሪያ ያወራው። ያን ቀን የተሸከሙኝ ሴቶች በሙሉ ተቀምጠዋል። ‹ተንሳፈፈች› ሲል ቤቱ ጭጭ አለ። እኔ አፈርኩ። አባትሽ ላብ በላብ ሆነ። ይሄኔ እትዬ ሳርፒ ሳህኗን አስቀመጠችና ‹በምን ቀዘፍካት ታዲያ?› አለችው። አሰበ፣ አሰበና ‹በድስት ክዳን› አለ። ሳቅን። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ከዚያ ወዲህ ማን ይመልሰው?»

ሙርኒ ተነሥታ ልብሷን ማስጣት ቀጠለች። ላራስ ቆርቆሮውን ጭኗ ላይ አድርጋ በወለሉ ቀዳዳ ቁልቁል ታያለች። መድረኩ ፊት የሚቀመጡትን ሴቶች አሰበቻቸው። በየዓመቱ አባቷ ሲያወራ «ቀጥል፣ ቀጥል» የሚሉትን። ጉንጫቸው በሳቅ ሲነፋ ውስጣቸው ምን ይል እንደነበር አሰበች። በአባቷ ላይ መናደድ ፈለገች፤ ንዴቱ ይመጣና እንደ ማዕበሉ መልሶ ይሸሻል። ፀሐይዋ ወደ ወደቡ አዘቅዝቃ የእንቁራሪቷን ጎን በወርቅ ቀባችው። ከዓሣ ማጨሻዎቹ የሚወጣው ጭስ በጣሪያዎቹ ላይ ተንጋሎ ያንቀላፋ ይመስላል።

ባግዮ አንቲራስቱን በትንሽ ጣሳ ይዞ መጣ። አንገቱን ሰብሮ ቤት ገባ፤ ሸሚዙን ቀይሮ ወጣ።

«ኧረ ይቺ ልጅ፣ መብራቱን እንዴት አድርገሽ አወጣሽው?» አለ ክፈፉን ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጎ። «ቶሎ ዘይት ካልነካነው ግን ነገ መልሶ ቀይ ነው። ኮምጣጣ ነገር የነካው ብረት ራቁቱን ነው፤ ልብስ ይፈልጋል።» ተቀመጠና በጨርቅ ያብሰው ጀመር። «መድረኩ ላይ ስታወሪ፣ ቀዘፋው ጋ ስትደርሺ አትቸኩዪ። ትንሽ ፋታ ስጪ። ሰው እንዲስቅ…»

ቆርቆሮውን ያየው ይሄኔ ነው። ቀጥሎ የተከፈተውን ወለል አየ። ጨርቁን የያዘው እጁ ክፈፉ ላይ ቀረ።

ላራስ ልትጠይቀው ያዘጋጀችው ነገር ብዙ ነበር። «ለምን ዋሸኸኝ» ከሁሉም ፊት ተሰልፏል። አባቷ ግን በዚያ ሰዓት አንገቱን ያለ በር ሰብሮ፣ ወለሉን ሳይሆን እጁን እያየ ነበር። ከአፏ የወጣው ሌላ ሆነ።

«አባዬ፣ መጀመሪያ ማን ነው ያቀፈኝ?»

ባግዮ ቀና አለ።

«እትዬ ሳርፒ መሰለችኝ።»

«መሰለችኝ?»

«እንጃ፣ ላራስ።» ክፈፉን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠው። «ስደርስ ጭቃ በጭቃ ስለነበርኩ አላስገቡኝም። በመስኮት አየሁሽ። ሁሉም ተቀባብለውሽ ነበር። ለእኔ የደረስሽኝ ከሁሉም በኋላ ነው።»

በመካከላቸው ብሎኖቹ አቼቶው ውስጥ ጥቃቅን አረፋ ያወጣሉ። ላራስ ቆርቆሮውን ወንበሩ ላይ አስቀመጠች፤ ወደ በርሜሉ ሄዳ እጇን በሳሙና ታጠበች፤ በቀሚሷ አደራረቀችና ነጠላ ጫማዋን ተጫማች።

«ወዴት ነው?» አለ አባቷ።

«እትዬ ሳርፒ ጋ። የተወለድኩ ቀን እንዴት እንደነበር እንዲነግሩኝ።»

«ለመድረኩ ነው?»

«አላውቅም። መጀመሪያ ልስማው።»

ባግዮ ራሱን ነቀነቀ። ላራስ መንገዱ ላይ ወጣች። ውሃ በቦዩ ዳር ዳር መሰብሰብ ጀምሯል፤ ገና ቁርጭምጭሚት አይደርስም፤ ሰማዩ ውስጡ ተኝቷል። የመጀመሪያውን ቤት፣ ቀጥሎ ሻይ ቤቱን አለፈች። ከኋላዋ ውሃውን የሚረግጥ እግር ሰማችና ዞረች።

አባቷ ነበር። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ ጨርቁን እጁ ላይ ረስቶ፣ አጠገቧ ሲደርስ ቆመ። ፊቱ ከእሷ ይልቅ የሕፃን ይመስል ነበር።

«እኔም እኮ» አለ፣ «ሰምቼው አላውቅም።»

ላራስ ትንሽ አየችውና ከመንገዱ ደረቅ ወገን ገለል ብላ ቦታ ለቀቀችለት። ጎን ለጎን ሆነው ወደ ጭሱ ሄዱ።