ጥላሸት የነካው ቁልፍ

ጠዋት ስንዱ እንደወትሮዋ ተነሥታ ፊቷን ታጠበች፣ የሳሎኑን መስኮት ከፈተች፣ ሻይ ጥዳ እስኪፈላ ድረስም የምግብ ጠረጴዛው ላይ አሮጌ ጋዜጣ ዘረጋች። ጋዜጣው ላይ ከምናለሽ ተራ የገዛቻቸውን የመሳቢያ፣ የሻንጣና የፋይል ካቢኔት መቆለፊያዎች ደረደረች። አንዳንዶቹ ከነቁልፋቸው ነበሩ፤ የሌሎቹ ቁልፍ የት እንደቀረ አይታወቅም።

ባሏ ኅሩይ ካረፈ ወዲህ መጽሐፍ ማንበብ አቅቷት ነበር። አንድ ቀን እጇ ሥራ እንዲያገኝ ብላ የጽሕፈት ጠረጴዛውን መቆለፊያ ፈታችው፤ ነገሩ በዚያው ያዛት። ገና ጀማሪ ናት፤ የምትችለው መለየት ብቻ ነው። በቀዳዳው በባትሪ ስታይ፣ ስስ የነሐስ ቅጠሎች እንደ መጽሐፍ ገጽ ተደርድረው ከታዩዋት ባለ ቅጠል መሆኑን ታውቃለች። የዚህ ዓይነቱ ቁልፍ ጠፍጣፋ ነው፣ ብዙ ጊዜም በሁለቱም ጠርዙ የተሞረደ። ሲገባ ቅጠሎቹ ይሰበሰባሉ፤ ሲወጣ ቀጫጭን ሞላዎቻቸው አንድ በአንድ መልሰው ይገፏቸዋል። የመቆለፊያው ጀርባ ግን ድፍን ነው፤ ከውስጥ በኩል ቁልፍ የሚገባበት ቀዳዳ የለውም።

የመኝታ ቤቱ ቁም ሳጥን መቆለፊያም ባለ ቅጠል ነበር። ቁልፉ እሷ ዘንድ የለም። ከቀብሩ በኋላ የኅሩይ ታላቅ እህት እትዬ ዘርፈሽ የወንድማቸውን ልብስ እዚያ ሰቅለው፣ ቆልፈው፣ ቁልፉን በቦርሳቸው ይዘው ሄደዋል። "ለአርባው ለነዳያን ይሰጣል። እስከዚያ እሱን ታቅፈሽ ስታለቅሺ እንድትከርሚ አልፈልግም፤ አውቅሻለሁ" ነበር ያሏት። ስንዱ የፈለገችው አንድ ሸሚዝ ነበር፤ ያልታጠበ፣ አንገትጌው ላይ እሱ የቀረበት። ይህን አፍ አውጥታ መለመን አሳፈራት። ስንት ዓመት ኬሚስትሪ ያስተማረች ሴት፣ ሸሚዝ ላሽትት ብላ ትለምናለች?

ስለዚህ ጠዋት ጠዋት፣ መጋረጃው ከለቅሶው ጀምሮ ተዘግቶ ወደቀረበት መኝታ ቤት ትገባለች፤ በዚያ ቡናማ ጨለማ ውስጥ ቁም ሳጥኑ ፊት ተንበርክካ ባትሪዋን ታበራለች፤ ከቀዳዳውም ትንባሆና ቪክስ፣ ከፀሐይ ገና የገባ ሰው ገላ ሙቀትም እየሾለከ ይመጣል። አፍንጫዋን ብረቱ ላይ አድርጋ ትቆያለች። ስትነሣ፣ ያያት ሰው ባይኖርም፣ ቀሚሷን ታስተካክላለች።

ቁልፍ መሥራት የጀመረችው እንዲህ ሆና ነው። ያልተሞረደ ቁልፍ በሻማ ጥላሸት ታጠቁራለች፣ ታስገባለች፣ በቀስታ ትጠመዝዛለች፤ ስታወጣው ቅጠሎቹ የነኩት ቦታ ይላጣል፤ እዚያው ላይ በሞረድ ትሞርደዋለች። ጠረጴዛዋ ላይ ባሉት መቆለፊያዎች ሞክራ አንድም አልተሳካላትም፤ ምልክታቸው እንደ ፀጉር የቀጠነ ነበር። የቁም ሳጥኑ ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ በየጠዋቱም እየጎላ ይሄዳል። መጀመሪያ ደስ አላት፣ እጄ ተፍታታ አለች። በኋላ ከጠረጴዛው አንዱን አንሥታ ሞላዎቹን በጥፍሯ ነካቻቸው፤ እንዲህ ደካማ ነገር ብረት ላይ ያን ያህል ሊጫን አይችልም። በማግሥቱ ትንፋሿን ይዛ ቁልፉን ስታስገባ፣ ቅጠሎቹ ቁልፉ ሳይደርስባቸው ራሳቸው መንገድ ለቀቁ።

እትዬ ዘርፈሽ የአርባውን ዝግጅት ሊነጋገሩ መጡ።

"እጅሽ ምነው? ከሰል ንግድ ጀመርሽ እንዴ?"

"ምድጃ ስጠርግ ነው፣ እትዬ።"

"አንቺና ምድጃ! ኅሩይ አልነበር የሚጠርግልሽ?" ሳቁ፤ ወዲያው ደግሞ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

ስንዱ አንገቷን ደፍታ፣ "አንድ ሸሚዝ እንኳ ቢቀርልኝ" አለች። "ለሽታው ብዬ ነው።"

"የምን ሽታ፣ ልጄ? ሁሉንም በሳሙና አጥቤ፣ ፀሐይ አስመትቼ፣ ናፍታሌን ጨምሬበት ነው የሰቀልኩት።"

"ሁሉንም?"

"ካልሲው ሳይቀር!"

ከሄዱ በኋላ ስንዱ ቁም ሳጥኑ ፊት ተንበርክካ ቀዳዳውን አሸተተች፤ ያው ትንባሆና ቪክስ ነበር። ሸሚዝ ነው የምፈልገው ብላ ከእንግዲህ ራሷን ልታታልል አትችልም። በማግሥቱም ሻማዋን ለኮሰች። ያሳፈራት ይህ ነበር፤ እያወቀች መሞረዷ።

በአርባው ጠዋት ቁልፉ ያለ አንዳች ድምፅ ዞረ። በሩን ከፈተች። የተተኮሱት ልብሶች በተርታ ተሰቅለዋል፤ የናፍታሌኑ ሽታ አፍንጫዋን መታው፤ የእሱ ሽታ ግን የለም። ባትሪዋን ወደ በሩ የውስጥ ገጽ መለሰች። በመቆለፊያው ድፍን ጀርባ ዙሪያ ጥቋቁር የጣት አሻራዎች ነበሩ፤ የራሷ ጥላሸት፣ በሰፊ ጣቶች አጥብቆ የተጫነ። ከልብሶቹ ኋላ አንድ ማንጠልጠያ ቀስ ብሎ ተወዛወዘ።

"ስንዱ! ክፈቺ እንጂ፣ ቅዳሴው ሊያልፈን ነው!" የሚል የእትዬ ዘርፈሽ ድምፅ ከውጭው በር ተሰማ።

ስንዱ የቁም ሳጥኑን በር መልሳ ገፋችው፤ ቁልፉን እንደተሰካ ትታ፣ እጇን በነጠላዋ ሸፍና ሮጣ ከፈተችላቸው። እትዬ ዘርፈሽ ሶፋው ላይ ተቀምጠው ስለ ደረጃው ማማረር ጀመሩ። በመሐል ከመኝታ ቤቱ የምታውቀው ድምፅ መጣ፤ ቁልፍ ሲወጣ፣ ቅጠሎቹ አንድ በአንድ ሲመለሱ።

"ውስጥ ሰው አለ እንዴ?"

"የለም፣ እትዬ።"

አሮጊቷ አዩዋት። ከዚያ ተነሥተው ወደ መኝታ ቤቱ አመሩ፤ ስንዱ ተከተለቻቸው። በሩ ግማሽ በተከፈተው መታጠቢያ ቤት በኩል ሲያልፉ ውስጡ ጨለማ ነበር፤ ሙቀት ግን ጉንጯን ነካት። ወደዚያ አልዞረችም።

ቁም ሳጥኑ ተቆልፎ ነበር፤ ስንዱ ሰክታ የተወችው ቁልፍም የለም። እትዬ ዘርፈሽ በራሳቸው ቁልፍ ከፍተው ልብሶቹን በእጃቸው እየነኩ አለፉ፤ ባዶ ማንጠልጠያ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

"ሱፉን ለማን ሰጠሽው?"

"ለማንም አልሰጠሁም።"

"ስገባ የወንድ ሽታ ሸቶኛል። ዝም ያልኩት ለአንቺ አፍሬ ነው።" ባዶውን ማንጠልጠያ ነቅለው አሳዩዋት። "ገና በአርባው፣ ስንዱ? አልጋው ሳይቀዘቅዝ?"

ፊቷ ነደደ። መልስ ነበራት፤ ግን መልሱ ከሐሜቱ ይልቅ የሚያሳፍር ነበር። ከኋላቸው በመተላለፊያው ላይ እርምጃ ተሰማ፣ የማይቸኩል፣ ቤቱን የሚያውቅ ሰው እርምጃ፤ ቀጥሎም የውጭው በር ቀስ ብሎ ተዘጋ።

"ይኸው ሄደልሽ" አሉ እትዬ ዘርፈሽ፣ ነጠላቸውን እያጣፉ፣ ፊቷን ላለማየት።

እሳቸው ከሄዱ በኋላ ስንዱ ቤቱን ክፍል በክፍል ፈተሸች፤ ከሞረደችው ቁልፍ ሌላ የጎደሉት ግራጫው ሱፍ፣ ጥቁሩ ጫማ እና የውጭው በር ቁልፍ ነበሩ።