የደሳለኝ መኪና ብርድ

ሐሙስ ጠዋት፣ የሐምሌው የካምሲን ነፋስ የጅቡቲውን የካርቲየ 3 ሰፈር ጠባብ መንገዶች አቧራ ሲያለብስ፣ በደሳለኝ ጋራዥ ደጅ ላይ አራት ሰዎች ቆመው ነበር፤ ሚስቱ ደብሪቱ፣ የቤት ሠራተኛቸው ስርጉት፣ የሥራ ሸሪኩ ዮሳዲቅና ጎረቤቱ የሚኒባስ ሹፌር ሙክታር። ጫት ሻጯ ራህመትም ነበረች፤ እሷ ግን እንደ ወትሮዋ ከበሩ አጠገብ ባዶ ጠረጴዛዋ ኋላ ተቀምጣ የቀኑን ጫት ትጠብቃለች። ደሳለኝ ራሱ አልነበረም። ትናንት ሊመሽ ሲል በመኪናው መሪ ላይ ተደፍቶ ሞቶ ተገኝቷል፤ ሬሳው ሆስፒታል ነው።

ኢንስፔክተር ነጅማ ከፖሊስ መኪናው ከመውረዷ ስልኳ ጮኸ።

«ነጅማ፣ ምን ያንቀራፍፍሻል?» አላት አለቃዋ። «ሐኪሙ መራራ መርዝ ነው ብሏል። መርዙ ሻዩ ውስጥ ነው። ሻዩን ያፈላችው ሠራተኛዋ ናት። ሌላ ምን ቀረሽ?»

«ጥቂት ጊዜ ይስጡኝ።»

«ጫቱ እስኪገባ። ከዚያ ወዲያ በዚህ ከተማ ማን ይሠራል? ልጅቷን ወህኒ አውርደን ወደየቤታችን እንገባለን።»

ነጅማ ስልኩን ዘጋች። እናቷ የድሬዳዋ ሰው ናት፤ ራሷ ካርቲየ ሰባት ውስጥ ሱማልኛው፣ አፋርኛው፣ አማርኛውና ፈረንሳይኛው እየተደባለቀባት ነው ያደገችው። አንድ ቦታ መቆም አይሆንላትም፤ ሰው ስትጠይቅ እንኳ እየተንጎራደደች ነው። ዛሬ ደግሞ ባሰባት። ስርጉት እጆቿ በካቴና ታስረው፣ ነጠላዋ ከትከሻዋ ተንሸራትቶ፣ መልሳ መልበስ እንኳ አቅቷት ቆማለች።

ነጅማ ነጠላውን አነሳችላትና ወደ ጥላው ወሰደቻት።

«ሻዩን ከየት ቀዳሽው?»

«ከማንቆርቆሪያው ነው፣ እትዬ። ለእትዬ ደብሪቱ ቀዳሁላቸው፣ እኔም ጠጣሁ። የቀረውን በቴርሞስ ለጋሼ ወሰድኩላቸው።»

«ለራሱ በእጁ ሰጠሽው?»

«የለም። ከአቶ ዮሳዲቅ ጋር ቆመው ያወሩ ነበር። ‹እዚያ አስቀምጪው› አሉኝ። የመኪናው ኮፈን ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። አመሻሽ ላይ ቴርሞሱን ልወስድ ስመለስ ሞተሩ ይጮሃል፣ መስኮቱ ሁሉ ዝግ ነው፤ እሳቸው ደግሞ...» በታሰሩ እጆቿ የነጅማን እጅጌ ያዘች። «እትዬ፣ ወህኒ ከገባሁ ማንም አይጠይቀኝም። ወደ የመን ስሄድ ጀልባው አስፈርቶኝ ነው እዚህ የቀረሁት። እናቴ እስካሁን ሳውዲ የደረስኩ ይመስላታል። የት ብላ ትፈልገኛለች?»

ነጅማ ቀና አለች። ዓይኗ ከጋራዡ ማዶ፣ በደሳለኝ ቤት ደጅ በተዘረጋው የልብስ ገመድ ላይ ነበር። ነጫጭ የወንድ ሸሚዞች እንደ ሰንደቅ ተደርድረው ይርገበገባሉ።

«ይህ ሁሉ የጋሼሽ ሸሚዝ ነው? በቀን ስንቴ ይቀይራል?»

ስርጉት አንገቷን ደፋች። «ይህን አይጠይቁኝ። ለማንም እንዳልናገር አስምለውኛል።»

«ለሞተ ሰው የማልሽው መሐላ አንቺን ሊቀብርሽ ነው።»

«‹ጋሼ ይሙቱ› አስባሉኝ እኮ፣ እትዬ» አለችና አለቀሰች።

ዮሳዲቅ ሳይጠራ መጣ። ሽቶው ከሱ ቀድሞ ደረሰ፤ የመኪናውን ቁልፍ በጣቱ ላይ ያሽከረክራል። እሱና ደሳለኝ በኢትዮጵያ ላሉ ደንበኞች መኪና የሚያስመጣ ቢሮ ነበራቸው።

«መዳም፣ ልጅቷን አይመኗት። እንደሷ ያሉት ለቅሶ ይችላሉ። እኔ ዓይኔ እያየ ነው የጠጣው።»

«በዚያ ሰዓት እዚህ ጋራዥ ውስጥ ነበሩ? ይህ ቆርቆሮ እኮ ከቀትር በኋላ ፍም ነው። እንዴት ቻላችሁት?»

ዮሳዲቅ ሳቀ። «ቆርቆሮው ሥር ማን ቆመ? ልጅቷ እንደወጣች መኪናው ውስጥ ገባን። እኔ ጎኑ ተቀመጥኩ። የደሳለኝን ኤሲ አያውቁትም እንዴ? ጅቡቲ ውስጥ አቻ የለውም! ብርዱ ሲጸናብኝ ‹ኧረ ቀንስልኝ፣ አጥንቴ ገባ!› አልኩት። እየሳቀ ሻዩን ቀዳ። ተጎነጨና ‹ይህች ልጅ ዛሬ ምን ጨመረችበት? መረረኝ› አለ። እኔ ቀጠሮ ነበረብኝ፣ ትቼው ወጣሁ። ምነው ባልወጣሁ!»

«ሌላ ሰው ቴርሞሱን አልነካም?»

«ማን ይነካል? ልጅቷ አመጣች፣ እሱ ቀዳ፣ እሱ ጠጣ።»

«አመሰግናለሁ» አለች ነጅማ። «በጣም ረድተውኛል።»

ሙክታር ግድግዳ ተደግፎ ይጠብቃት ነበር። ገና ሳትጠይቀው ጀመረ።

«እኔን ጠርጥሪኝ አቦ፣ አላፍርም። ጠልቼው ነበር። ሚስቴን ምጥ ሲይዛት ሚኒባሴ ተበላሽቶብኝ ደጁን ደበደብኩ። ‹በአላህ፣ ሆስፒታል ድረስ ብቻ› አልኩት። በር ላይ ቆሞ አንገቱን ደፍቶ ‹ይቅርታ፣ አይሆንልኝም› አለኝ። ያን የሚያህል መኪና አቁሞ! በታክሲ ወሰድኳት። መንገድ ላይ ልትወልድብኝ ነበር።»

«ትናንትስ ምን ፈልገህ ገባህ?»

ሙክታር ራሱን አከከ። «ለልጁ የዓቂቃ ድግስ ልጠራው። ብጠላውም ጎረቤት ነው። ‹እመጣለሁ› አለኝ። እንደ ሕፃን ደስ አለው አቦ። እሱ ነው የገረመኝ።»

ራህመት ከጠረጴዛዋ ሳትነሳ ሁሉንም ሰምታለች። የጋራዡ በር አንድ ነው፤ ከፊቷ ሳያልፍ የሚገባበት የለም።

«ሙክታር ገባ፣ ወጣ» አለች። «ከዚያ ዮሳዲቅ ገባ። ከዚያ ልጅቷ ቴርሞስ ይዛ ገብታ ባዶ እጇን ወጣች። ቆየት ብሎ ዮሳዲቅ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ልጅቷ እየጮኸች እስክትወጣ ድረስ ዝንብም አልገባ።»

«ደሳለኝ ምን ዓይነት ሰው ነበር?»

«ወላሂ ንጉሥ! አገር በሸሚዝ ሲቃጠል እሱ ኮት ይደርባል። ‹መኪናዬ ውስጥ ይበርደኛል› ይላል። መስታወቱ ጥቁር፣ ሁልጊዜ ዝግ። ሲያቆም ደግሞ ቶሎ አይወርድም፤ እኔ ጫቱን ይዤ ደጁ ላይ እንደ አሽከር እቆማለሁ፣ እሱ ውስጥ ይንጎዳጎዳል። ማንንም አይጭን፣ ማንንም አያስነካ።» ባዶ ጠረጴዛዋን በእጇ ጠረገች። «እናቴ ‹ኑሮህ እንደ ቤትህ እንጂ እንደ ጎረቤትህ አይሁን› ትል ነበር። የሱ ኑሮ ግን እንደ ቤቱም አልነበረ፣ እንደ ጎረቤቱም አልነበረ።»

ነፋሱ በረታ። ነጅማ ወደ ሰማይ አየች፤ ፀሐዩ ወደ አናት እየወጣ ነው። ደብሪቱ ወደ ቤቷ ተመልሳ ስለነበር ማዶ ተሻግራ የደሳለኝን ቤት አንኳኳች።

ቤቱ አንዲት ክፍል ናት፤ ስርጉት የምትተኛው መጋረጃ ተጋርዶላት ጥግ ላይ ነው። ክንፉ የተሰበረ ማራገቢያ ቁም ሣጥኑ ላይ ተቀምጧል። ከበሩ ቆሞ ለሚያየው ማዶ ያለው ጋራዥ ከቤቱ ይሰፋል።

ደብሪቱ ጥቁር ለብሳ ፍራሹ ላይ ተቀምጣለች። ነጅማ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጭ አለች።

«ወይዘሮ ደብሪቱ፣ ባለቤትዎ በመኪናው ይዞዎት ሄዶ ያውቃል?»

ደብሪቱ የነጠላዋን ጫፍ ጠቀለለች። «አንዴ» አለች። «ሁለተኛ ግን እኔው እምቢ አልኩ።»

«ለምን?»

«ገበናውን በሬሳው ላይ አላወራም። አንድ ነገር ግን ልንገርዎ። መኪናውን ሊሸጠው ነበር። ‹ደብሪቱ፣ ደከመኝ፤ ባልባላ ሰፈር ሁለት ክፍል እንከራይና እንደ ሰው እንኑር› አለኝ። በሽያጩ ገንዘብም፣ መኪና ይመጣልናል ብለው ሲጠብቁ የኖሩትን ደንበኞች እናስታግሳለን አለኝ። የደንበኞቹን ቀብድ የሚቀበለው ዮሳዲቅ ነው። የት እንዳደረሰው እንጃ፤ መኪኖቹ አልመጡም። ደንበኛ ግን ቢሮው ደጅ ያ መኪና ቆሞ ሲያይ ይተማመናል።»

«እንደሚሸጠው ዮሳዲቅ ያውቅ ነበር?»

«ትናንት ከቤት ሲወጣ ‹ዛሬ እነግረዋለሁ› ብሎ ነው የወጣው።»

ነጅማ ብድግ አለች። ሩጫ በሚመስል እርምጃ ወደ ጋራዡ ተመለሰች።

ጥቁሩ ቪኤይት መኪና ከቆርቆሮው ሥር ተንጣሎ ያብረቀርቃል። በግድግዳው ላይ ኮቱን ይሰቅልበት ከነበረው ሚስማር በቀር ምንም የለም፤ ኮቱን ደሳለኝ እንደለበሰ ነው የሞተው። የሹፌሩን በር ከፍታ እጇን ከወንበሩ ሥር ሰደደች። ወፍራም ፎጣ አገኘች፤ እርጥብ ነው፣ የላብ ሽታ አለው። ወደ ሌላኛው በር ዞረች። የጎን ወንበሩ ከፋብሪካ የመጣበት ላስቲክ እንኳ አልተገፈፈለትም። ላስቲኩ እንደ ከበሮ ተወጥሯል፣ በላዩ ስስ አቧራ ተኝቷል። በጣቷ አንድ መስመር ጫረችበት። ከዚያ ኮፈኑን ከፍታ ሞተሩ ላይ ጎንበስ አለች። ስትቃና ፊቷ ላይ ደስታ አልነበረም፤ የማዘን ያህል ነገር ነበር።

ከሩቅ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። የጫት መኪኖቹ እየገቡ ነው። ራህመት ከወንበሯ ተነሳች። አለቃዋ የሰጣት ጊዜ ማለቁ ገብቷት ነጅማ ደብሪቱንም ከማዶ አስጠራች።

«ሁላችሁም ወደ ውስጥ ግቡ» አለች ነጅማ። «አቶ ዮሳዲቅ፣ እባክዎ ትናንት የተቀመጡበት ቦታ ይቀመጡልኝ።»

«ለምን ሲባል፣ መዳም?»

«ብርዱን ማየት እፈልጋለሁ።»

ዮሳዲቅ ትከሻውን ነቅንቆ ገባ። ነጅማ በሹፌሩ ወንበር ተቀመጠች፣ ሞተሩን አስነሳች፣ የሱን መስኮት ብቻ ትንሽ ክፍተት ትታ ሌላውን ዘጋች። ሌሎቹ በዚያች ክፍተት በኩል ተጠግተው ቆሙ።

«ኤሲውን ይክፈቱት» አለችው።

ዮሳዲቅ ጣቱ በቁልፎቹ ላይ ተንከራተተና አንዱን ተጫነ። አየሩ እየጮኸ መጣ። ከምድጃ አፍ የሚወጣ ይመስል የጋለ ነው። ሌላ ተጫነ፤ ያው ነው። ሽቶው በላብ ተለወጠ። ላስቲኩ ከሱሪው ጋር እየተጣበቀ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይንጫጫል።

«እንዴት ነው፣ አጥንት ይገባል?» አለች ነጅማ።

«ዛሬ... ዛሬ ተበላሽቶ ይሆናል!» በሩን በርግዶ ወጣ።

ነጅማ ሞተሩን አጥፍታ ወረደችና ኮፈኑን አነሳች። «ሙክታር፣ አንተ ሹፌር ነህ። ምን ይጎድላል?»

ሙክታር አንገቱን አሰገገ። «የኤሲው ኮምፕረሰር ተነቅሏል አቦ! ቦታው ላይ ሸረሪት አድርቶበታል።»

«ሸረሪት በአንድ ቀን አያደራም። ኑሮ ሲከብደው አውልቆ ሸጦታል። ሰው እንዳያውቅበት ግን መስኮቱን ዘግቶ፣ ኮት ደርቦ፣ በዚህ ሙቀት በከተማው ሲዞር ኖረ። ቶሎ የማይወርደው በፎጣ ላቡን ሲያብስ ነው። የሸሚዙ ብዛት ለዚህ ነው። ማንንም የማይጭነውም ለዚህ ነው። የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ አንዷ አፍራ፣ አንዷ ምላ ዝም አሉ።»

ደብሪቱ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ስርጉት «ጋሼዬን!» አለች በሹክሹክታ።

«ተሳስቼ ነው» አለ ዮሳዲቅ። «ብርዱ... ሌላ ቀን ይሆናል። ሰው አይሳሳትም?»

«ሌላ ቀንም አልተቀመጥክባትም» አለች ነጅማ፤ ‹እርስዎ› ቀረ። «ወንበሯ ላይ የነበረው አቧራ እኔ በጣቴ እስክጭረው ድረስ ማንም አልነካውም ነበር። አሁን ግን እየው፣ የተቀመጥክበት ቦታ ታትሟል። ትናንት መኪናው ውስጥ አልገባህም። ካልገባህ ደግሞ ሲጠጣ አላየህም፣ ‹መረረኝ› ሲልም አልሰማህም። ታዲያ ያ ሻይ መራራ መሆኑን ማን ነገረህ?»

ነጅማ በጋራዡ ውስጥ እየተንጎራደደች ቀጠለች።

«ከማንቆርቆሪያው ሁለት ሴቶች ጠጥተው ደህና ናቸው። ስለዚህ መርዙ የገባው ቴርሞሱ ውስጥ ነው። ስርጉት መንገድ ላይ ጨምራ ይሆን? በሷ ላይ ያለው ምስክር ያንተ ቃል ብቻ ነበር፤ እሱም ውሸት ሆነ። ሙክታር ቴርሞሱ ሳይመጣ ወጥቷል። ደሳለኝ መኪናውን ሊሸጥ እንደሆነ ነገረህ፤ ደንበኞቹ መጥተው እንደሚይዙህ ገባህ። እሱ ከሞተ ግን ቀብዱን ‹ደሳለኝ በላው› ትላለህ፤ ሬሳ አይመልስ። መርዙን ይዘህ ነው የመጣኸው፤ ደክሞት አንድ ቀን እንደሚያጋልጥህ ታውቅ ነበር። ሊነዳ ሲነሳ ኮቱን ከሚስማሩ ሊያወርድ ጀርባውን ሰጠህ። ቴርሞሱ ደግሞ ኮፈኑ ላይ ነበር።»

ዮሳዲቅ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጢጥ አለ። «ያን ሁሉ ጊዜ ‹ይበርደኛል› ሲለኝ...» አለ ለራሱ። «ለደንበኛ ሁሉ ‹የደሳለኝ መኪና ውስጥ ጃኬት ያስፈልጋል› ስል ኖሬ...» «መርዙን የሻይ ስኳር ያህል ብቻ ነው የጨመርኩት» ያለው ዘግይቶ፣ ፖሊስ ጣቢያ ነው።

ሙክታር አሁንም ሞተሩን ያያል። «ታዲያ ሚስቴን ያልወሰዳት...»

«ምጥ የያዛትን ሴት ምድጃ ውስጥ ሊከት አፍሮ ይሆናል።»

«መስኮቱን ቢከፍተው ምን ነበረበት፣ አቦ?»

ነጅማ የስርጉትን ካቴና ፈታች። «ምንም አልነበረበትም» አለች።

ዮሳዲቅ ስርጉት ልትወሰድበት በነበረው መኪና ተወሰደ። ጫቱ ደረሰ፣ ራህመት ጠረጴዛዋን ሞላች። ደብሪቱ ሐዘኗን ከጨረሰች በኋላ መኪናውን ሸጣ ባልባላ ሁለት ክፍል ተከራየች፤ ስርጉትም አብራት ሄደች፣ ለእናቷም የት እንዳለች ደውላ ነገረቻት። መኪናውን የገዛው ሰው በማግስቱ፣ ኮምፕረሰር ሳያስገባለት፣ መስኮቶቹን ሁሉ ዘግቶ በካርቲየ 3 በኩል አለፈ።