ጥያቄው ሌላ ነበር

«እስቲ መልሰህ አጫውተው» አለች ቃጭል፣ የጆሮ ማዳመጫውን በሁለት እጇ ጫን አድርጋ እንደያዘች።

«ኧረ ባክሽ፣ በቃልሽ ልታጠኚው ነው?» አለ መቀስ። ቢሆንም መለሰው።

መጀመሪያ የመጣው የራሷ ድምፅ ነው፤ ጥርት ያለ፣ የመኪና ጥሩምባ የሌለበት። «የሰፈሩን ነዋሪዎች ታነጋግራላችሁ ወይ?» ወዲያው የማዘጋጃ ቤቱ የመሬት ክፍል ኃላፊ ተቀበላት። «ማነጋገር አያስፈልግም። ውሳኔው የእኛ ነው።»

እነዚህ አጫጭር ቃላት ካለፈው ቅዳሜ ወዲህ ሰፈሩን ቁጭ ብድግ አሰኝተውታል። ከትምህርት ቤታቸው ጀርባ ያለው ሜዳ ለመኪና ማቆሚያ ሊሰጥ መሆኑን ሁሉም ሰምቶ ነበር፤ ሰምቶም ዝም ብሎ ነበር። ኃላፊው በሬዲዮ እንዲህ ካለ በኋላ ግን ዝም ያለ ሰው የለም። አውቶቡስ ውስጥ፣ ፀጉር ቤት፣ ዳቦ መግዣው ሰልፍ ላይ ወሬው እሱ ብቻ ሆነ። የሒሳብ መምህራቸው እንኳ ተማሪዎቹ ፈተናው ይገፋልን ብለው ሲለምኑት፣ ሰሌዳውን እየጠረገ «ማነጋገር አያስፈልግም፤ ውሳኔው የእኛ ነው» ብሎ ክፍሉን በሳቅ ገድሎታል።

የፊታችን ሰኞ ማዘጋጃ ቤቱ ስለ ሜዳው ስብሰባ ጠርቷል፤ ሰፈሩም ነቅሎ ሊሄድ ተዘጋጅቷል። ሁለቱ ልጆች ዛሬ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ሬዲዮ ጣቢያው የመጡት፣ ሰዉን ወደ ስብሰባው የሚጠራ አጭር ማስታወቂያ ሊሠሩ ነው። ማስታወቂያው በኃላፊው ድምፅ ይከፈት ያለው መቀስ ነው።

ቃጭል ንግግሩን ተረጋግታ ስትሰማው የመጀመሪያዋ ነበር። ቅዳሜ ሲተላለፍ እንግዳ ልትቀበል ደረጃው ላይ ነበረች። ከዚያ ወዲህ የሰማችው ሁሉ ከሰው አፍ ነው።

ማዳመጫውን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ይሄ የዚህ ጥያቄ መልስ አይደለም» አለች።

መቀስ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ላይ አላነሳም።

ጣቢያው ከጎማ ጠጋኙ ሱቅ በላይ ያሉ ሁለት ጠባብ ክፍሎች ናቸው። የመንግሥትም የነጋዴም አይደለም፤ የሰፈሩ ነው። ጠዋት ስለ ምክር ቤቱና ስለ ኑሮ ይከራከሩበታል፤ ከሰዓት ሙዚቀኞችና ተዋንያን ይመጡበታል፤ የቅዳሜ ከሰዓቱ ፕሮግራም ደግሞ የታዳጊዎቹ ነው። ስርጭት ሊጀመር ሲል አንዱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «አየር ላይ ልንወጣ ነው!» ብሎ ይጮኻል፤ ጎማ ጠጋኙም የሚንደቀደቀውን ሞተሩን ያጠፋል። «እናንተ አየር ላይ በወጣችሁ ቁጥር ጎማው አየር አጣ» እያለ ያጉረመርማል፤ ግን አንድም ቀን ሳያጠፋ ቀርቶ አያውቅም። ድምፅሽ እኔ ድረስ ያቃጭላል ብሎ ቃጭል ያላትም እሱ ነው። መቀስ ደግሞ ስሙን ያገኘው ከሥራው ነው። ንግግር ቆርጦ ሲቀጥል መጋጠሚያው አይታወቅበትም።

የዚህም መጋጠሚያ አይታወቅም። ቃጭል ቦታው ላይ ባትኖር ኖሮ እሷም አታውቀውም።

ኃላፊውን ያነጋገረችው ሜዳው ዳር፣ የጭነት መኪኖች በሚመላለሱበት መንገድ አጠገብ ነበር። ማይኩን ወደ ሰውየው አፍ ስላስጠጋችው የእሱ ድምፅ በደንብ ተቀድቶ የእሷ ጥያቄዎች በጫጫታው ተዋጡ። እንዲህ ሲያጋጥም ጣቢያው ውስጥ የተለመደ አሠራር አለ፤ ጠያቂው ስቱዲዮ ገብቶ ጥያቄዎቹን እንደገና ያነባቸዋል፣ ከዚያ በየመልሱ ፊት ይገባሉ። ቃጭልም ቤት ጽፋ ከመጣችው ወረቀት ላይ አነበበች። ግን ሜዳው ላይ ከወረቀቱ ውጪ አንድ ጥያቄ ድንገት መጥቶላት ጠይቃ ነበር። ሜዳውን ለመኪና ማቆሚያ የፈለገውን ድርጅት እንደገና ታነጋግሩታላችሁ ወይ ብላ። ስቱዲዮ ስትገባ ግን ማንበቡን ረሳችው። መልሱ ያለ ጥያቄ ቀረ፤ አሁን ስለ ነዋሪዎቹ ከጠየቀችው ቀጥሎ ተጋጥሟል።

«ማነጋገር አያስፈልግም ያለው ስለ ድርጅቱ ነው» አለች። «ስለ እኛ አይደለም። ስለ ነዋሪዎቹ ስጠይቀውማ ተንተባተበ። ‹ወደፊት እናስብበታለን፣ ሂደት ነው› ነው ያለኝ። ታውቅ ነበር?»

«ስቆርጥ ነው የገባኝ።»

«እና ዝም አልክ?»

«አታካብጂ!» አለና ወንበሩን ወደ እሷ አዞረ። «ሰውየው በገዛ አፉ የተናገረው ነው፤ ከኪሴ አውጥቼ አልጨመርኩበትም። ነዋሪውን ጠየቁ? አልጠየቁም። ሊጠይቁ አስበዋል? አላሰቡም። ታዲያ ውሸቱ የቱ ጋ ነው?»

«ጥያቄው ላይ።»

«ጥያቄ ደግሞ ይዋሻል?»

«የኔው ዋሽቷል።»

መቀስ ፊቱን በመዳፉ አሻሸ። እሱ ሜዳው ላይ ግብ ጠባቂ ነው፤ ጉልበቱ ላይ ያለው ጠባሳ ሁሉ የሜዳው ነው። «ስሚኝ» አለ፣ አሁን ቀስ ብሎ። «ይሄ ሰፈር ለመጀመሪያ ጊዜ ተነቃንቋል። ‹ተሳስተናል› ያልሽ ዕለት ሰውየው ምን እንደሚል ልንገርሽ? ‹ይኸው፣ እነዚህ ውሸታሞች ናቸው፤ ስለ ሜዳው ያወሩት ሁሉ እንዲሁ ነው› ይላል። ከዚያ በኋላ ሜዳውን ደህና ሁን በይው።»

የተናገረው ልክ ሊሆን ይችላል፤ ቃጭልን የከበዳትም እሱ ነው። ቦርሳዋን አነሳች።

«ማስታወቂያውስ?» አላት።

«በዚህ ድምፅ አልሠራም።»

ቤት ስትደርስ የልብስ ስፌት መኪናው ድምፅ እስከ ደጅ ይሰማል። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ ዛሬ ግን የምትሰፋው ቀሚስ አልነበረም። ወለሉ ላይ የተዘረጋ ነጭ ጨርቅ አለ፤ ከጥቁር ጨርቅ የተቆረጡ ፊደላት እየተለጠፉበት ነው። «ማነጋገር አያስፈልግም» የሚለው ተሰፍቶ አልቋል። «ውሳኔው» ገና በስፒል እንደተያዘ ነው።

«የወላጆች ኮሚቴው ነው ያዘዘኝ» አለች እናቷ፣ ቀና ሳትል። «ሰኞ ከፊት ሊይዙት ነው። ፊደሉ ከሩቅ ይነበባል?»

ቃጭል በሩ ላይ ቆማ ቀረች። አባቷ የሰፈሩን ልጆች ኳስ የሚያሠለጥነው እዚያ ሜዳ ላይ ነበር። እሱ ካረፈ ወዲህ እናቷ በሜዳው በኩል አታልፍም፤ ገበያ ስትሄድ በላይኛው መንገድ ዞራ ነው። ምክንያቱን ተናግራ አታውቅም፤ የጠየቃትም የለም። ይህን ጨርቅ ለመስፋት እሺ ማለቷ ለሌላ ሰው ተራ ነገር ይመስል ይሆናል።

«እማ» አለች።

«ወዬ።»

«አትስፊው።»

መኪናው ቆመ። ቃጭል ወለሉ ላይ ተቀምጣ ሁሉንም ነገረቻት፤ መኪኖቹን፣ ወረቀቱን፣ ያለ ጥያቄ የቀረውን መልስ። መጨረሻ ላይ እናቷ መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው።

«ሰው ሁሉ አምኖታል'ኮ» አለች።

«አዎ።»

«ብትነግሪያቸው ሜዳው ሊሄድ ይችላል።»

«አዎ፣ እማ።»

እናቷ ከመሳቢያው ክር መፍቻዋን አወጣች፣ ጫፉን ከመጀመሪያው ፊደል ሥር አስገባችና ክሩን በጠሰችው።

«ሰውየው በእርግጥ ያለው ምን ነበር?» ብላ ጠየቀች።

«‹ወደፊት እናስብበታለን፣ ሂደት ነው።›»

«ይሄማ ጨርቅ ይፈጃል» አለች። ቃጭል ሳታስበው ሳቀች። «በይ ነይ፣ በዚያ በኩል ያዢልኝ።»

በማግስቱ ከትምህርት በፊት ወደ ጣቢያው ወጣች። ልጆቹ እትዬ የሚሏት ዋና አዘጋጇ የጠዋቱን ክርክር ጨርሳ የተበላሸ የማይክ ገመድ በጥርሷ እየላጠች ነበር። ቃጭል ቆማ ተናገረች።

«ሙሉው ቅጂ አለ?» አለች እትዬ፣ ገመዱን ከአፏ አውጥታ።

«አለ።»

«ማን ነው የቆረጠው?»

«ጥያቄውን ያነበብኩት እኔ ነኝ።»

«እሱን አልጠየቅኩሽም።»

«አውቃለሁ፣ እትዬ።»

እትዬ ትክ ብላ አየቻት፤ ሁለተኛ ግን አልጠየቀችም። «ሰውየው እስካሁን አልደወለም» አለች። «ለምን ይመስልሻል? የተናገረውን ራሱም አያስታውስም። ዝም ብንል ማንም አያውቅም። ዝም አንልም እንጂ! ማረሚያው ቅዳሜ፣ በተሳሳትንበት ሰዓት ይነበባል፤ ዜና መሀል ሸጎጥ አናደርገውም። ቅጂውም ሳይቆረጥ ይተላለፋል። ደግሞ ስድቡ እንደሚመጣ ዕወቂ። ከፈለግሽ እኔ አነበዋለሁ። አንቺ ገና ልጅ ነሽ።»

ቃጭል እሺ ልትል አፏን ከፈተች። እሺ ማለት በጣም ቀላል ነበር። ክፍል ውስጥም የማንንም የተቆጣ ፊት ሳታይ ያልፍላታል።

«ሰዉ ጥያቄውን የሰማው በኔ ድምፅ ነው» አለች። «እኔ ላንብበው።»

መቀስ እስከ ዓርብ አላነጋገራትም። አንዴ ብቻ፣ የክፍሉ በር ላይ ሲገናኙ፣ ጎንበስ ብሎ መንገድ ለቀቀላት። «ይለፉ፣ የማዘጋጃ ቤቱ ቃል አቀባይ» አላት። አጠገቡ የነበሩት ልጆች ሳቁ። ፊቷ ጋለ፤ ግን አለፈች።

ቅዳሜ ግን እሱም ጣቢያው መጣ። ቃጭል ስቱዲዮ ስትገባ ከመስታወቱ ወዲያ፣ የድምፅ መቆጣጠሪያው ላይ ተቀምጦ አየችው። ሰላም አላላትም። ሙሉውን ቅጂ አሰናድቷል፤ ከሥር ደግሞ አንድ ዘፈን አስገብቷል።

በማዳመጫዋ ድምፁ መጣ። «ማረሚያሽን ታነቢያለሽ፣ ቅጂው ይሄዳል፣ ልክ ሲያልቅ ዘፈኑን እለቀዋለሁ። ረጅም ነው፤ እስከ ማብቂያችን ያደርሰናል። ማንም መደወያ ጊዜ አያገኝም።» ከዚያም «ላንቺ ብዬ ነው» አለ።

እታች ጎማ ጠጋኙ ሞተሩን አጠፋ። መቀስ ጣቱን ወደ እሷ ቀሰረ።

«ባለፈው ቅዳሜ በዚህ ሰዓት ያልተጠየቀ ጥያቄ አሰምተናችኋል» አለች። ኃላፊው የተጠየቀው ምን እንደነበር፣ የመለሰው ምን እንደነበር፣ ጥያቄውን ስቱዲዮ ውስጥ ያነበበችው እሷ ራሷ እንደሆነች ተናገረች። ኃላፊውንም አድማጮቹንም ይቅርታ ጠየቀች። «ግን» የሚል ቃል ልትጨምር ወረቀቷ ጠርዝ ላይ ጽፋው ነበር፤ አላነበበችውም።

ቅጂው ሄደ። የመኪኖቹ ጩኸት፣ በጫጫታው ውስጥ የሰመጠች ድምፅዋ፣ የኃላፊው መልስ። ከዚያ ስለ ነዋሪዎቹ የጠየቀችው፣ ከዚያም የሰውየው ዝምታ። ማንም ያልቆረጠው ዝምታ ሲሰማ በጣም ረጅም ነበር። «እ... እሱን ወደፊት እናስብበታለን። ሂደት ነው።» መቀስ ራሱ ቀና ብሎ አዳመጠ።

ቅጂው ሊያልቅ ሲል የስልኩ መብራት ብልጭ አለ። ወዲያው ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። መቀስ እጁን የዘፈኑ ቁልፍ ላይ አድርጎ አያት።

ቃጭል ራሷን ነቀነቀች፤ አይሆንም። ወደ ስልኩ ጠቆመች።

መቀስ በመስታወቱ ውስጥ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። «ይሰድቡሻል።»

እንደገና ጠቆመች። እጁን ከቁልፉ ላይ አነሳና መስመሩን ከፈተ።

«ሃሎ! እኔ የሦስት ልጆች እናት ነኝ!» አለች አንዲት ሴት፣ እየጮኸች። «ስንቱን ጎረቤት በየበሩ አንኳኩቼ ቀስቅሻለሁ፤ እናንተን አምኜ! አሁን ምን ልበላቸው? ሰኞስ ምን ብለን ነው የምንሄደው? ኧረ ልጅት፣ ትሰሚኛለሽ?»

ቃጭል ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው ሳበች።

«እየሰማሁዎት ነው» አለች። «ይቀጥሉ።»