ሰው የሌለበት ዳርቻ

እዚህ ቻናል ላይ የሚወጣውን ሳነብ "ይሄ እንኳ ፈጠራ ነው" እያልኩ የማልፍ ሰው ነበርኩ። እናንተም የእኔን እንደዚያ ብላችሁ ብታልፉት አልቀየማችሁም።

እኔ ግን ነበርኩበት። ታላቅ እህቴም ነበረች። የዚያ ቀን ነገር ከተነሣ ክፍሉን ጥላ ስለምትወጣ እሷን መጠየቅ አይቻልም።

ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ነበር። ጨለማ የለም፣ ነፋስ የለም... ፀሐይዋ አናት ትበሳለች።

መጀመሪያ ግን ስለ እናቴ ልንገራችሁ።

እናቴ ሠላሳ ዓመት ሙአለ ሕፃናት አስተምራለች። ሕፃናቱን ይዛ መንገድ ስትወጣ የምትቆጥራቸው በእጇ ነው። ዐይኗን መኪኖቹ ላይ ትተክልና መዳፏን በየአናታቸው ታሳርፋለች። መጨረሻ ላይ "ሙሉ ነን" ትላለች። እኛንም የምትቆጥረን እንደዚያው ነበር። እህቴን፣ እኔን፣ ከዚያ ወገቧ አካባቢ የሚደርሰውን ትንሹን ወንድማችንን። ከኋላችን ስለማይጠፋ "ጭራ" ነበር የምንለው።

ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት፣ ትምህርት ቤት በተዘጋ ሰሞን፣ አገር ምድሩ ወደሚጎርፍበት ባሕር ዳርቻ ሄድን። ሰው በሰው ላይ ነው፤ እግር ማሳረፊያ የለም። አመሻሽ ላይ የመጨረሻው አውቶብስ ሊነሣ ሲል እናቴ በግፊያው መሀል ዐይኗን በሩ ላይ ተክላ ቆጠረችን።

"አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሙሉ ነን፣ ግቡ።"

ሦስተኛው የሌላ ሰው ልጅ ነበር።

ግፊያው እኛ ላይ የለጠፈው፣ የማናውቀው ልጅ። አውቶብሱ ከመታጨቁ የተነሣ ይህን ያወቅነው ስንወርድ ነው። ጭራ አልተገኘም። ልብሱ እንኳ አልተገኘም።

ከዚያ ወዲህ ሰው ለዕረፍት ሲወጣ እኛ በራችንን እንዘጋለን። አባታችንም በዚያው ሐዘን ሞተ። እናቴ ዳግመኛ ቆጥራን አታውቅም።

ዘንድሮ ግን ሰው ሁሉ ሻንጣውን በሚጭንበት ወር ድንገት "ባሕር አሳዩኝ" አለች። "ሰው የሌለበት ግን።"

በዚያ ወር ሰው የሌለበት ባሕር ከየት ይመጣል? እህቴ ግን አንድ ነገር ከያዘች አትለቅም። ከዋናው ዳርቻ የአንድ ሰዓት መንገድ ርቃ፣ ከኮረብታ ጀርባ፣ አንዲት የኪራይ ቤት አገኘች። ጠባቂው ሽማግሌ ቁልፉን ሲሰጠን ፊታችንን አላየም።

"ሌላ ወር ብትመጡ ይሻላችሁ ነበር" አለ።

"እኛ ጸጥታውን ፈልገን ነው፣ አባባ" አለችው እህቴ።

ሽማግሌው ብስክሌቱን እየገፋ ሄደ።

እናቴ ከመኪናው ወርዳ ባሕሩን አየች። ከዚያ እጇን አነሣች... እህቴ አናት ላይ አሳረፈችው። እኔ አናት ላይ። ከዚያ ዝቅ አደረገችና ወገቧ አጠገብ ባዶው አየር ላይ አቆመችው።

"ሦስት። ሙሉ ነን።"

እህቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። "ዝም በል" አለችኝ በሹክሹክታ። "እርጅና ነው።"

ግን እናቴ ቦርሳዋን ስታቀብለኝ መዳፏ ነካኝ።

እርጥብ ነበር።

በማግስቱ እናቴ ቁርሷን ጥርግ አድርጋ በላች። እህቴ ያሳረረችውን እንቁላል እያየች "ይሄን ዶሮዋ ብታየው ታለቅሳለች" ብላ ሳቀች። የእናታችንን ሳቅ ረስተነው ነበር። እኔና እህቴ ተራ በተራ ወጥ ቤት እየገባን አለቀስን።

በጊዜ ያልሄድነው ለዚያ ነው። የምናየውን እንዳላየን ሆነን አለፍነው።

የቀሚሷ ቀኝ ጎን ሁልጊዜ እርጥብ ነው... ወገቧ አካባቢ ብቻ፣ ትንሽ ልጅ ተደግፎት የዋለ ይመስል። አሸዋው ላይ ስትሄድ የሚታየው የእርሷ ዱካ ብቻ ነው፤ እርሷ ግን አጭር ሰው እጇን እንደያዛት ወደ አንድ ጎን አዘንብላ ነው የምትራመደው።

ሦስተኛው ቀን፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ጋደም ካልኩበት ተነሥቼ በመስኮት አየሁ።

እናቴ ባሕሩ ውስጥ ነበረች። ከነልብሷ። ውኃው ወገቧ ደርሷል። ቀኝ እጇ ወደ ፊት ተዘርግቷል... የሚጎትታት ያለ ይመስል።

እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ብብቷን ይዤ አወጣኋት።

"እማ፣ ምን ነካሽ?"

"ብቻዬን ነኝ አለኝ" አለች። "ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ብቻዬን ነኝ አለኝ፣ ልጄ።"

እህቴ ዕቃውን መኪናው ውስጥ ወረወረችው። እናቴ ግን የመኪናው በር ላይ ቆመች።

"ሳልቆጥር አልሄድም።"

እህቴን ነካች። እኔን ነካች። እጇን ዝቅ አደረገች... አየሩን ዳበሰች። ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ።

"የለም። ውኃው ውስጥ ቀርቷል። እጠብቀዋለሁ።"

እህቴ አየችኝ። ከጠበቅን እናታችንን እንደምናጣት ሁለታችንም ገብቶናል።

ያኔ ያደረግሁትን እስከ ዛሬ ለራሴ ይቅር አላልኩም። ድምፅ ሳላሰማ ተንበረከክሁና አናቴን መዳፏ ሥር አስገባሁ።

እጇ ዐረፈ። ጣቶቿ ፀጉሬን ዳበሱት... ቆዩ።

"ደረቅ ነው" አለች።

ከመዳፏ ሥር አልተነሣሁም።

"የዚያን ቀንም ደረቅ ነበር" አለች ቀስ ብላ። "ልጄ ከውኃ መውጣቱ ነበር፤ ፀጉሩ መንጠብጠብ ነበረበት። እጄ አውቆት ነበር። አውቶብሱ እንዳያመልጠን ብዬ... ሙሉ ነን አልኩ።"

ይህን ለማንም ተናግራው አታውቅም።

ከዚያ ዝቅ ብላ ሳታየኝ "ሦስት" አለች። "ሙሉ ነን።" ገብታ ተቀመጠች። እርሷ አላለቀሰችም። እኔ ነኝ ጉልበቴ ላይ እንዳለሁ ያለቀስኩት።

እህቴ መኪናውን አስነሣች። የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ስንደርስ "ወደ ኋላ አትይ" አለችኝ። በመስታወቱ አይታ ነበር መሰለኝ፣ ነዳጁን ረገጠችው።

እኔ ግን ዞርኩ።

ዳርቻው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሞልቷል።

ሁሉም ሕፃናት ናቸው። ጨዋታ የለም፣ ጫጫታ የለም። ከአሸዋው እስከ ተከራየነው ቤት በር ድረስ መስመር ይዘው፣ ፊታቸውን ወደ እኛ አዙረው ቆመዋል። ከፀጉራቸው ውኃ ይወርዳል። አናታቸውን ትንሽ ዝቅ አድርገውታል... አንድ እጅ እንዲያርፍበት።

ጭራን ፈለግሁት። መኪናው ኩርባውን እስኪያልፍ ድረስ ዐይኔን ሳልነቅል ፈለግሁት።

ከብዛታቸው የተነሣ ልለየው አልቻልኩም።