ጡት የሚጣልበት ወር

ሥራዋ ቀላል ይመስላል። በጦጣዎቹ መጠለያ ውስጥ፣ ከሽቦው አጥር ሦስት እርምጃ ርቃ በርጩማ ላይ ትቀመጣለች፤ በየደቂቃው ሰዓቷን አይታ እናትና ልጅ በዚያች ቅጽበት ምን እያደረጉ እንደሆነ በደብተሯ ላይ ታሰፍራለች። አቀፈች። አጠባች። ጸጉሩን ፈተሸች። ገፋች። በዚህ የተነሳ ሠራተኛው ሁሉ «ቆጣሪዋ» ይላታል፤ እሷም ለምዳው፣ በስሟ ሲጠሯት ሌላ ሰው የተጠራ ይመስላታል።

የምትቆጥራት እናት ጦጣ ደግሞ «እትዬ» ትባላለች። አረማመዷ የተከበረች የጎረቤት ሴትዮ ይመስላል ብለው ነው ስሙን ያወጡላት። ሲያወሩላትም አንቱታውን አይነፍጓትም፤ «እትዬ ዛሬ ካሮት አላሰኛቸውም» ተብሎ በቁም ነገር ይነገራል። የአሥር ወር ልጇ «አኩራፊው» ነው። ከጡት በተገፋ ቁጥር መሬት ላይ ተዘርግቶ ይጮሃል፤ እናቱ ካላየችው ተነስቶ የምትታይበት ቦታ ይሄድና እንደገና ይዘረጋል።

ጊዜው ጡት የሚጣልበት ወር ነበር። ልጁ ሊጠባ ሲጠጋ እትዬ ጀርባዋን ትሰጠዋለች፣ በእጇ ትገፋዋለች፣ ሲብስባት ክንዱን ያዝ አድርጋ ትነክሰዋለች። ይህ የተለመደ ነው። እናት ለሚቀጥለው ልጅ አቅሟን ትቆጥባለች፤ ያለው ልጅ ትንሽ ልቆይ ይላል፤ ሁለቱም እውነት አላቸውና ይጣላሉ። ቆጣሪዋ ይህን ለአዲስ ሠራተኞች ሁሉ ስታስረዳ የኖረች ናት። ማየቱ ግን ሌላ ሆነባት። «ገፋች» ብላ በጻፈች ቁጥር የያዘችው እስክሪብቶ ከእጇ ላብ የተነሳ ያንሸራትታል።

ምክንያቱን ለማንም አልተናገረችም። ስድስት ዓመቷ ላይ እናቷ አክስቷ ቤት ጥላት ሄዳለች፤ እሷ የምታስታውሰው እንደዚያ ነው። አውቶቡስ መጠበቂያው ላይ የእናቷን ቀሚስ ጨምድዳ ይዛ ስታለቅስ፣ እናቷ ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቅቃ፣ ዞር ሳትል ተሳፈረች። ሥራ ፍለጋ ነበር የሄደችው። ከሁለት ዓመት በኋላ ተመልሳ ወሰደቻት፣ አሳደገቻት፣ አስተማረቻት። ዛሬም በደህና ይጠያየቃሉ። ስለዚያ ቀን ግን አንድም ጊዜ ተነጋግረው አያውቁም።

እትዬን መመዝገብ ከጀመረች ጥቂት ወራት በኋላ ነው ሐኪሙ የመጣው። የመጠለያው የእንስሳት ሐኪም ሲሆን፣ ጠዋት ጠዋት በሆነ ባልሆነው በእሷ በኩል ያልፋል። መጀመሪያ ቴርሞሜትር ጠፋብኝ አለ። ቀጥሎ እስክሪብቶ ተዋሰ። በሦስተኛው ወር ሰበቡ አልቆበት ዝም ብሎ አጠገቧ መቆም ጀመረ። አጥሩ አጠገብ ማውራት ስለማይፈቀድ ሁለቱ የተዋወቁት በዝምታ ነው። አኩራፊው ተነስቶ ሁለተኛ ሲዘረጋ ዓይን ለዓይን ይተያያሉ፤ ሳቃቸውን አፍነው መልሰው ወደ ሽቦው ያያሉ። ከዚያ በላይ ምን ያስፈልጋል?

ከሦስት ሳምንት በፊት ደብተሩን ከጉልበቷ ላይ አነሳና «ልዩ ምልከታ» በሚለው ዓምድ ውስጥ አንድ መስመር ጻፈ። «ከረፋዱ አራት ሰዓት፤ ሐኪሙ ቆጣሪዋን ማግባት ይፈልጋል።» የደብተሩ ገጾች ቁጥር የተሰጣቸው ስለሆኑ መቅደድ ክልክል ነው። ደንግጣ ወረቀት ለጠፈችበት። ከሥራ በኋላ በር ላይ ጠብቋት ስለወደፊቱ አወራት፤ ስለ ቤት፣ በመጨረሻም ስለ ልጆች። ስለ ቤት ሲያወራ ፊቷ በርቶ ነበር። ልጆች ሲል ጠፋ። ትንሽ ጊዜ ስጠኝ አለችው፣ እሱም ሰጣት። እየወደደችው ነበር። ግን እነዚያ ጣት የሚያላቅቁ እጆች በእሷም ክንድ ጫፍ ላይ እንዳሉ ታስባለች።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ ሌሎቹ ሠራተኞች ምግብ ክፍል አትክልት እየከተፉ ሳለ፣ እትዬ ልጇን ሦስት ጊዜ ገፋች። በአራተኛው ነከሰችው። አኩራፊው እንደ ልማዱ አልተዘረጋም። ቆጣሪዋ በሰባት ወር ውስጥ ሰምታው የማታውቀውን ጩኸት ጮኾ ወደ ውስጠኛው ክፍል ሮጠ፤ እትዬም ጥርሷን አውጥታ ተከተለችው።

ልትገድለው ነው፣ አለች ቆጣሪዋ በልቧ።

የመጠለያው የመጀመሪያ ሕግ ቆጣሪ አይመግብም፣ አይጠራም፣ ጣልቃ አይገባም የሚል ነው። ይህን ሕግ ለሌሎች የምታስነብበው እሷ ራሷ ናት። ከበርጩማው መቼ እንደተነሳች አታውቅም። የውስጠኛው ክፍል በር በገመድ ተስቦ የሚንጠለጠል ብረት ነው፤ ገመዱን ፈትታ ለቀቀችው። ብረቱ በልጁና በእናቱ መካከል ወረደ። አንድ አጭር ድምፅ ተሰማ፣ ከዚያ ጸጥ አለ።

አኩራፊው ገብቶ ነበር። ግራ እጁ ግን ደፉ ላይ ነበረች።

ገመዱን ስባ በሩን ስንዝር ታህል ስታነሳው ልጁ እጁን ሰበሰበ። ደም ታየ። በዚያ በኩል እትዬ ራሷን በብረቱ ላይ ትወረውር ጀመር፤ ወድቃ ትነሳለች፣ መልሳ ትወረወራለች። ጠዋቱን ሙሉ ከላይዋ ስታራግፈው የዋለችውን ልጅ አሁን ስጡኝ እያለች ነው። ቆጣሪዋ ስልኳን ከኪሷ ማውጣት አቃታት። በሦስተኛው ሙከራ ደወለችና «ና» ብቻ አለች።

ሐኪሙ እየሮጠ መጣ። ልጁን በፎጣ ጠቅልሎ ወደ ሕክምና ክፍል ወሰደው፣ ክንዱን በመብራት አየው።

«ንክሻው ቆዳውን እንኳ አልበጣውም» አለ። «ጡት ሲያስጥሉ እንደሚነክሱት ነው። እጁን ግን...»

«በሩ ነው» አለችው። «እኔ ነኝ የጣልኩት።»

ቀና ብሎ አያትና ወደ ልጁ ተመለሰ። ሰመመን ሰጥቶት ማከም ጀመረ። እሷ የልጁን ጭንቅላት ደግፋ ያዘች፤ መዳፏ ውስጥ የሚገባ ጭንቅላት ነው። የአንዷ ጣት ጫፍ አልዳነችም። ሁለቱን ሰፋቸው። ከግድግዳው ባሻገር የእትዬ ድምፅ አላቋረጠም፤ አሁን ጩኸት መሆኑ ቀርቶ እየተጎተተ የሚወጣ ጥሪ ሆኗል። ቆጣሪዋ ጆሮዋን መድፈን ፈለገች፣ እጇ ግን ተይዟል።

ፋሻውን ሲጨርስ የፈራውን ነገራት። ልጁ ሲመለስ መድኃኒት መድኃኒት ይሸታል። ጡት ልታስጥል የተነሳች እናት ሽታው የተለወጠ ልጅ ሲመጣባት አንዳንዴ ገፍታ በዚያው ትቀራለች። ከሁለት ዓመት በፊት አንዱን እንዲህ አክሞ መልሶት ነበር። እናትየዋ አልተቀበለችውም፤ ጡጦውንም እሱ አልተቀበለም። ዘጠነኛው ቀን ላይ ሞተ። ይህን ሲናገር የሐኪሙ ድምፅ እየቀነሰ ሄደ፣ መጨረሻውን ያነበበችው ከከንፈሩ ነው።

ከዚያ የጉዳት ቅጹን አወጣ። በዚያው ዕለት ለአለቃዋ መድረስ ያለበት ወረቀት ነው። እስክሪብቶውን ይዞ ብዙ ቆየ።

«የእናት ንክሻ ብለን እንጻፈው» አለ ዓይኗን ሳያይ። «የንክሻው ምልክት አለ። ማንም አይጠይቅም።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አንቺ ከሥራሽ አትባረሪም።»

«እትዬስ?»

መልሱን ሁለቱም ያውቁታል። ልጇን አቁስላለች የተባለች እናት ከልጇ ትለያለች፤ የሚቀጥለውንም ስትወልድ ይወስዱባታል። በመዝገቡ ላይ ክፉ እናት ተብላ ትቀራለች።

«አንቺን እንዳላጣሽ ነው» አለ። «ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም።»

ቆጣሪዋ ቅጹን ከእጁ ወሰደች። «መዝጋቢዋ ሕግ ጥሳ በሩን በመልቀቋ» ብላ ጻፈችና ፈረመች። ሐኪሙ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። አፍሮ ነበር፤ እሷም ያን ጊዜ ያፈረውን ሰውዬ ከሌላው ጊዜ ሁሉ ይልቅ ወደደችው።

ልጁ ከሰመመኑ እስኪነቃ ሁለት ሰዓት መጠበቅ ነበረባቸው። ኮሪደር ወጥታ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። እትዬን ስትመዘግብ ሰባት ወሯ ነው፤ ዛሬ እንዴት እንደሳተቻት አየች። ታዲያ የገዛ እናቷንስ? ለእናቷ ደወለች።

«ምነው ልጄ፣ በሥራ ሰዓት? ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ እማ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አክስቴ ቤት የተውሽኝ ቀን... ጣቶቼን ስታላቅቂ ለምን ዞር ብለሽ አላየሽኝም?»

ከዚያኛው ወገን ቧንቧ ሲዘጋ ተሰማ።

«ታስታውሺዋለሽ እንዴ?» አለች እናቷ። «ትንሽ ነበርሽ፣ ረስታዋለች ብዬ...»

«አልረሳሁትም።»

«እኔም ጣቶችሽ ጠንካራ ነበሩ እያልኩ ለሰው አወራለሁ። ውሸቴን ነው። የስድስት ዓመት ልጅ ጣት ምን አቅም አለው? አለቅም ያልኩት እኔ ነበርኩ። የአንቺን ሳላቅቅ የራሴንም እያላቀቅኩ ነበር። ዞር ብል አልሄድም፣ ካልሄድኩ ደግሞ የምናድርበት የለንም። ፈርቼ ነበር፣ የኔ ልጅ። እስክትመለሺልኝ ሁለት ዓመት ሙሉ ፈርቼ ነው የኖርኩት። ብትጠላኝስ እያልኩ።»

«አልጠላሁሽም» አለች ቆጣሪዋ። እናቷ ምሳ በልተሻል ወይ ብላ ጠየቀች። አልበላሁም አለች። ብዪ እንጂ ተባለች፤ እሺ ብላ ስልኩን ዘጋች።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሐኪሙ አኩራፊውን ውስጠኛው ክፍል ወለል ላይ አስቀምጦት ወጣ። ሁለቱም ከሽቦው ውጭ ቆሙ። ገመዱን የሳበው እሱ ነው፤ ብረቱ ቀስ እያለ ወደ ላይ ወጣ።

ልጁ በሦስት እግሩ እያነከሰ ደፉን ተሻገረ። እትዬ ሮጣ መጣች፣ አንድ ክንድ ሲቀራት ግን ቆመች። አሸተተችው። ፋሻውን አሸተተች። ወደ ኋላ ብላ ጥርሷን አሳየች። ልጁ ሲጠጋት ገፋችው።

አኩራፊው ወደቀ። አልጮኸም። አልተዘረጋምም። በወደቀበት ቁጭ ብሎ መሬት መሬት አየ። ቆጣሪዋ ሰባት ወር ሙሉ ያ ጩኸት አንድ ቀን እንኳ ቢቀር እያለች ተመኝታ ነበር፤ አሁን ሲቀር ደሟ ቀዘቀዘ። እትዬ ዞራ ሦስት እርምጃ ሄደች። አራት።

«ላውርደው?» አለ ሐኪሙ በሹክሹክታ። ገመዱን አጥብቆ እንደያዘ ነው። «ሳትጎዳው በፊት ልለያቸው?»

መልሱ የእሷ ነበር። ጠዋት ላይ ያስነሳት ድምፅ አሁንም በውስጧ ይጮሃል፤ አውርደው፣ አውርደው ይላል።

«ቆይ» አለችው። «ትንሽ ቆይ።»

ቆሙ። ደቂቃው አላልቅ አለ። ልጁ የተፋሸች እጁን ወደ አፉ አስጠግቶ ሲነካት አመመው መሰለኝ፣ ቀጭን ድምፅ አወጣ፤ ማጉረምረም ብትሉት ይቀላል። እትዬ ቆመች። ተመለሰች። ጎትታ ጭኗ ላይ አወጣችው። የታመመችውን እጁን ይዛ ግራ ቀኝ አገላበጠች፣ የፋሻውን ጫፍ በጥርሷ ፈልጋ አገኘችና አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር እየፈታች ጣለችው። ስፌቱን ወደ ዓይኗ አስጠግታ መረመረች። ይህን ስታደርግ ልጁ ጡቷን ያዘ፣ እሷም አልከለከለችውም።

«ያን ያህል የለፋሁበት ፋሻ» አለ ሐኪሙ፣ እንባውን በክርኑ እየጠረገ። «እንደገና ልታሠራኝ ነው።»

ቆጣሪዋ ሽቦውን ይዛ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። እሱም ገመዱን አስሮ አጠገቧ ተቀመጠ።

«እሺ» አለችው።

«ምኑን ነው እሺ?»

«ከሦስት ሳምንት በፊት የጠየቅኸኝን።»

ዞር ብሎ አያት። ከንፈሯ ገና ይንቀጠቀጣል፣ ልብሷ ላይ የልጁ ደም ደርቋል። «አሁን?» አላት። «እንዲህ እየፈራሽ? የዛሬውን አይቶ የሚወሰን ነገር አይደለም። እጠብቅሻለሁ ብዬሻለሁ፣ እጠብቅሻለሁ።»

«ፍርሃቱ ሲለቀኝ ልመልስልህ ብዬ ነበር የቆየሁት» አለች። «የሚለቅ ነገር አይደለም። እናቴንም አለቀቃት። እትዬንም ስትፈራ አየኋት፤ ፈርታ ነው የተመለሰችው። እኔም እንደፈራሁ እመጣለሁ፣ ካልጠላኸኝ።»

«እኔ ደግሞ ጠዋት ቅጹን ይዤ ምን ያህል እንደፈራሁ አይተሻል» አለ። «ካየሽ በኋላም እሺ ካልሽኝ ምን እላለሁ?»

ከኮሪደሩ ጫፍ የጫማ ድምፅ መጣ። አለቃዋ ናት፤ አረማመዷ ይታወቃል። ቅጹን አንብባ እየመጣች ነው፤ ቆጣሪዋ ከዚህ በር ነገ ትግባ አትግባ የምትወስነውም እሷ ናት። ሐኪሙ እጁን ዘረጋላት፣ ተያይዘው ተነሱ፤ ሳይላቀቁም ጠበቋት።