ከጽጌረዳው በስተግራ

ዘመድኩን የሞተው ለእንግዳ በተነጠፈው ነጭ አልጋ ግርጌ፣ ሆዱን በሁለት እጁ እንደያዘ ነበር። ኢንስፔክተር ረሂማ ሰባተኛ በሚባለው ሰፈር ካለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ስትደርስ ክፍሉ ሞት የገባበት አይመስልም ነበር። መጋረጃው ተተኩሷል፤ ትራሶቹ ተደርድረዋል። አልጋው ላይ የቁርስ ትሪ ተቀምጧል፤ ዳቦ፣ አንዲት ጽጌረዳ፣ ከጽጌረዳው በስተግራ ደግሞ ግማሹ የተጠጣ አንድ ብርጭቆ ወተት።

ዘመድኩን ቤቱን በቀን ለሚከራዩ እንግዶች ሊያቀርብ እየተሰናዳ ነበር። ዲኮር የምትሠራው አዲስዓለምና ፎቶ አንሺው ጁነዲን ጠዋቱን ለማስታወቂያ የሚሆን ፎቶ ሲያዘጋጁ አርፍደው፣ አብረው ምሳ ሊበሉ ሲወጡ እሱ ብቻውን ቀርቷል። ሲመለሱ ሞቶ አገኙት።

ጥርጣሬው ወዲያው አዲስዓለም ላይ ወደቀ። ትሪውን ያሰናዳችው እሷ ናት፤ ጠዋት ከዘመድኩን ጋር ስትጨቃጨቅም ጎረቤት ሰምቷል። ረሂማ ግን ለመፍረድ አልቸኮለችም። በመጀመሪያ የቤቱ መለዋወጫ ቁልፍ ያለውን የሕንፃውን ጥበቃ ጎበዜን አነጋገረች። እሱም ቤቱ ከተቀባ ወዲህ ወደ ላይ እንዳልወጣ፣ ፎቶውንም እንዳላየ፣ ከታች ባሉት ሱቆች የተነሳ ገቢና ወጪውን መለየት እንደማይችል ነገራት። ቀደም ሲል ማን ይኖርበት እንደነበር ስትጠይቀው ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«የዘመድኩን አባት፣ ጋሽ አገኘሁ ነበሩ። ባለፈው ክረምት ነው የወጡት። አልጋቸው ደጅ ዝናብ ሲመታው አጠገቡ ቆመው ያዩት ነበር።»

የሟቹ ታላቅ እህት እትዬ ሠርኬ በር ላይ ቆመዋል። አላለቀሱም። ከጠዋት ጀምሮ እህል በረንዳ ካለው ሱቃቸው ንቅንቅ እንዳላሉ፣ የወንድማቸውንም ሞት በስልክ እንደሰሙ ተናገሩ።

«ጠዋት ፎቶውን በስልኬ ልኮልኝ ነበር» አሉ። «ያ ወተት ያኔም ትሪው ላይ ነበር። ጨጓራ ስላለበት ወተት አይቶ አያልፍም። አዲስዓለምም ይህን ታውቃለች።»

ረሂማ ስልኩን ተቀብላ አየችው። እውነትም ፎቶው ላይ ከጽጌረዳው በስተግራ አንድ ብርጭቆ ነጭ ነገር አለ። ስልኩን መልሳ ወደ ማድቤት ገባች። ከእቃ ማጠቢያው ሥር የአዲስዓለም ዘንቢል ተቀምጧል፤ ውስጡ ሌላ ብርጭቆ አገኘች። ነጩ ነገር አፉ ላይ ደርቆ ቆዳ ሠርቷል። ስታሸተው አናጢ ቤት የገባች መሰላት። አዲስዓለምን ጠራቻት።

«የእንጨት ኮላ ነው» አለች አዲስዓለም። «ወተት ፎቶ ላይ ውሃ ይመስላል፤ ኮላ ግን ይነጣል። ሰው እንዳይጠጣው ብዬ ምሳ ሳንወጣ አነሳሁት።»

ጁነዲንም ለብቻው ሲጠየቅ፣ ኮላውን ስትቀዳም ስታነሳም አጠገቧ እንደነበር ተናገረ።

የምርመራው ውጤት ሲደርስ ወተቱ ውስጥ የአይጥ መርዝ መኖሩ ታወቀ። ረሂማ እህል በረንዳ ደርሳ ከተመለሰች በኋላ አራቱንም እዚያው መኝታ ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«እዚህ ቤት ወተት አልነበረም፤ ገዳዩ ይዞት የመጣው ከውጭ ነው» ስትል ጀመረች። «ዘመድኩን ጠጥቶ ሲወድቅ፣ የተረፈውን ትሪው ላይ አስቀመጠው፤ አዲስዓለምን ለማስያዝ። ያስቀመጠውም ልክ ፎቶው ላይ በሚታየው ቦታ ነው። ጎበዜ ፎቶውን ስላላየ ቦታውን ሊያውቅ አይችልም። አዲስዓለምና ጁነዲን ደግሞ ፎቶው ላይ ያለው ወተት አለመሆኑን ያውቃሉ፤ የኮላው ብርጭቆ ዘንቢል ውስጥ እያለ እንዲህ ያለ ማስመሰያ አይሠሩም። ስለዚህ ገዳዩ ፎቶውን ያየ፣ ኮላውን ግን ያላየ ሰው ነው። ከሟቹ ስልክ ፎቶው የተላከው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ለእርስዎ፣ እትዬ ሠርኬ። ሱቅዎ ውስጥ ያገኘነው ፔርሙዝም ተመርምሯል። መርዝ አለበት።»

እትዬ ሠርኬ መስኮቱ ሥር ያለውን ባዶ ቦታ አመለከቱ።

«አባቴ የሚተኛው እዚያ ጋ ነበር። ይቺ ልጅ ይሄ አሮጌ አልጋ ፎቶ ያበላሻል አለች። ወንድሜ አልጋውንም አባቱንም በአንድ ቀን አወጣ። እኔ ቤት ካመጣሁት በኋላ ቤቴ ውሰዱኝ እንዳለ ሞተ።»

አዲስዓለም ቀና ብላ አላየቻቸውም። ሽማግሌው የት እንደሚሄዱ ያን ቀን አልጠየቀችም ነበር።

«እሷንም ከጠሏት ለምን አብረው አልገደሏትም?» አለች ረሂማ።

«ሞትማ ያልቃል። እሱ አባቴን ከቤቱ አስወጣው፤ እሷ ደግሞ እስር ቤት ገብታ፣ መውጣት እያማራት፣ የሚያስወጣት አጥታ እንድታረጅ ነበር የፈለግሁት።»

ረሂማ ካቴናውን አወጣች። እትዬ ሠርኬ እጃቸውን ከመስጠታቸው በፊት ነጩን የአልጋ ልብስ በጫፉ ይዘው ሳቡት። ትራሶቹ አንድ በአንድ ወለሉ ላይ ወደቁ። ጁነዲን ትራሶቹን ሊያነሳ ጎንበስ ብሎ የእትዬ ሠርኬን ፊት ሲያይ ተወው።