ሮዛልባ ያልመለሰችው ነጥብ

ካንሳስ ከተፈጠረች ጀምሮ ከተሰበሩት ልቦች ሁሉ ትልቁ የዌይላን ድራይሊንግ ልብ ነው። ሌላ ሰው ሌላ ቢላችሁ አትመኑ። ልቡ ሲሰበር ድምፁ ኮሎራዶ ድንበር ድረስ ተሰምቷል፤ የሦስት አውራጃ ስንዴ በአንድ ጊዜ መሬት ላይ ተኝቷል። ንፋስ ነው ያሉ ነበሩ። ንፋሱንማ እናውቀዋለን፤ በዚያ ቀን ጥጃ እንኳ አላንሳፈፈም።

ነገሩ የጀመረው በር በመሳሳት ነው።

ዌይላን የስንዴ ገበሬ ልጅ ነው፤ ቁመቱ የእህል ጎተራ ያህላል። በከተማው የሁለት ዓመት ማኅበረሰብ ኮሌጅ ብየዳ ሊማር ተመዝግቦ፣ የመጀመሪያው ቀን ክፍሉን ሲፈልግ ቀጥሎ ያለውን በር ከፈተ። ውስጥ አንዲት ጠይም ልጅ ቆማ ትናገራለች። መናገር ከተባለ። በደቂቃ አምስት መቶ ቃል፣ ትንፋሽ የሚባል ነገር ሳትወስድ፣ ታንበለብለዋለች። ዌይላን እንዲህ የሚናገር ሰው አይቶ የሚያውቀው ከአባቱ ጋር በሚሄድበት የከብት ጨረታ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ እጁን አወጣ።

«ሁለት መቶ!» አለ።

ልጅቷ ንግግሯን አቋርጣ ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው። ለማየት ጊዜ ወሰደባት፤ ረጅም ነው ብያለሁ።

«ምኑ ነው ሁለት መቶ?»

«ላሟ... ጨረታ አይደለም እንዴ?»

«የክርክር ቡድን ነው። እዚህ ያለው ከብት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በሩን ይዞ ቆሟል።»

አሰልጣኟ ወይዘሮ ስታኪ ከወንበራቸው ሊወድቁ እስኪደርሱ ሳቁ። «ግባ ልጄ፣ በሩን ዝጋው። የሚሳቅበት ሰው ጠፍቶብን ነበር» አሉት። ዌይላን ገባ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት ብየዳ፣ ከሰዓት ክርክር ሆነ። ብረት ማጣበቁን በሦስት ሳምንት ቻለበት። ከዚያች ልጅ፣ ከሮዛልባ ኪንታና ዓይኖች ላይ የራሱን ዓይን ማላቀቅ ግን እስከ ምረቃ አልቻለም።

በሁለተኛው ዓመት የክርክሩ ርዕስ መጣ፤ መንግሥት ማኅበረሰብ ኮሌጅን በነፃ ይስጥ ወይስ አይስጥ? በዚህ ጨዋታ ተከራካሪ ሁለቱንም ወገን ያጠናል። የትኛውን እንደሚይዝ የሚወስነው የሚወረወር ሳንቲም ነው፤ ልብህን የሚጠይቅህ የለም። ሌላም ሕግ አለ፤ ተቃራኒህ ያነሳውን ነጥብ ካልመለስክ እንደተቀበልከው ይቆጠራል። ዳኛው መልሱን ቢያውቀው እንኳ አይጨምርልህም።

በልምምድ ሮዛልባ አርባ አንድ ጊዜ አሸነፈችው። አርባ ሁለተኛው ምሳ ሰዓት ካፍቴሪያ ውስጥ ነበር።

«ሰው የሚያከብረው የከፈለበትን ነው፤ በነፃ ያገኘው ነገር አይከብደውም» አለ ዌይላን፣ ድንች ጥብሱን እንደ ጣት እየቀሰረ።

«እሺ። ትናንት የሳምከኝ ስንት ከፍለህ ነው?»

ዌይላን ድንቹን አስቀመጠ።

«ቀለለህ?» አለች።

«አልቀለለኝም» አለ። ድምፁ ተሰነጠቀ። እሷም ያን ጊዜ ብቻ ዓይኗን ሰበረች። ካፍቴሪያው ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ፣ አስተናጋጆቹ ጭምር፣ ትሪውን እንደያዘ ቀጥ ብሎ ነበር ይባላል።

በጥር ሁለቱንም ሎረንስ ከተማ ያለው ዩኒቨርሲቲ ተቀበላቸው። በነሐሴ አብረው ሊሄዱ ተስማሙ። የቀረው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ አባቷ ዶን ኡሴቢዮ።

ዶን ኡሴቢዮ ሃያ ዓመት በቄራ የሠራ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ አራት ሴት ልጆች ያሳደገ ሰው ነው። ዌይላንን እንደ ጥሩ ትራክተር ያየዋል። ይጎትታል፣ ይሸከማል፣ አያስብም። «ልጁ ደግ ነው፤ ግን ጭንቅላቱ ውስጥ ምን አለ?» ብሎ ሮዛልባን ጠይቋታል። እሷም እየሳቀች ለዌይላን ነገረችው። ባትነግረው ይሻል ነበር።

በመጋቢት መጀመሪያ አንድ ከሰዓት፣ በፒካፑ ከተማ ሲገቡ በረዶ ያዛቸው። እያንዳንዱ ፍሬ የጥጃ ጭንቅላት ያህላል! ነዳጅ ማደያው ጣሪያ ሥር ገብተው ቆሙ። ቆርቆሮው እየተደበደበ፣ ሮዛልባ ለማንም ያልነገረችውን ነገረችው።

ሁለተኛ ደረጃ ስትጨርስ የሟቹ ሐኪም የዶክተር ሃርዲንግ መታሰቢያ የሚባለው የትምህርት ዕድል ደርሷት ነበር። በዓመት ለአንድ ልጅ ብቻ የሚሰጥ ነው፤ ትምህርቱም መጽሐፉም በነፃ። ፎቶዋ ጋዜጣ ላይ ወጥቶ፣ አባቷ ቆርጦ በመስታወት ከቴሌቪዥኑ በላይ ሰቅሎታል። ኮሌጅ በገባች በሰባተኛው ሳምንት የቄራው ማሽን የዶን ኡሴቢዮን ሁለት ጣቶች ወሰደ። አንድ ዓመት ሙሉ ሥራ ፈታ።

«ከኮሌጁ ወጣሁ» አለች ሮዛልባ። «ሠላሳ ማይል ርቆ ካለው ሌላ ቄራ ገባሁ። ሥጋ ስቆርጥ ዋልኩ። ቤት ስመለስ ደብተር ይዤ ነበር የምገባው። ብሩን ኮሌጁ ነው የሚሰጠኝ አልኩት።»

«አባትሽ አያውቅም?»

«እናቴ ስትሞት አልጋዋ አጠገብ ምሏል። ከልጆቼ አንዷም የቄራ በር አትረግጥም ብሎ። በኔ ደሞዝ እንደበላ ቢያውቅ... ዌይላን፣ ይሞታል።»

«ምረቃሽ አንድ ዓመት የዘገየበትንስ ምን አልሽው?»

«ክርክር ነው ያዘገየኝ አልኩት።» ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ እንባዋ መጣ። ዌይላን ትልቁን መዳፉን ጉንጯ ላይ አደረገ። ለማንም እንደማይናገር አላማለችውም። እንዲህ ያለ ልጅ መሐላ ያስፈልገዋል እንዴ?

የዚያ ዓመት የመጨረሻው ውድድር የተካሄደው በራሳቸው ኮሌጅ አዳራሽ ነበር። ከሃያ ስምንት ኮሌጅ የመጡትን ተወዳዳሪዎች — መቶ ሃምሳ፣ ምናልባት ሦስት መቶ — ሁለቱ ጠራርገው ለፍጻሜ እርስ በርስ ተገናኙ። በእንዲህ ያለ ጊዜ አንድ ወግ አለ። ሁለቱ ከአንድ ቡድን ከሆኑ፣ ሳይከራከሩ ዋንጫውን መካፈል ይችላሉ።

«እንካፈለው» አለች ሮዛልባ። «ወይዘሮ ስታኪ ይፈርማሉ፣ ሄደን ምሳ እንበላለን።»

ዌይላን ወደ አዳራሹ አሻግሮ አየ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ዶን ኡሴቢዮ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ትራክተሩ ሲያስብ የሚያይበት ቀን ነው።

«እንከራከር» አለ ዌይላን።

«አርባ ሁለት ጊዜ አልበቃህም?»

«አንድ ጊዜ ብቻ። አባትሽ እያየኝ።»

ቅር አላት፤ ግን ፈገግ ብላ ክራባቱን አስተካከለችለት። ሳንቲሙ ተወረወረ። ለእሷ «ይስጥ»፣ ለእሱ «አይስጥ» ወጣ።

ሮዛልባ በዚያን ቀን የተናገረችውን ንግግር የሰማ ሰው ዛሬም ሲያስታውሰው ይቆማል። የአዳራሹ አምፖሎች ደምቀው ነበር። ዌይላን አንዱን ነጥብ ሲጥል አንዱን ትሰብራለች፣ አንዱን ሲያቆም አንዱን ትጥላለች። አራት ነጥብ አነሳ፤ አራቱም አልቆሙለትም። የመጨረሻ ተራው ላይ ሁለት ደቂቃ ቀርቶት፣ ላቡ ዓይኑ ውስጥ እየገባ፣ ቀና ሲል የዶን ኡሴቢዮ ፊት ላይ ያቺን ነገር አየ። ደግ ልጅ ነው፣ ግን።

«አምስተኛ ነጥብ» አለ። «ስም አልጠራም። ከዚህ ከተማ አንዲት ተማሪ አውቃለሁ። የዶክተር ሃርዲንግ መታሰቢያ ደርሷት ነበር። ትምህርቱ በነፃ፣ መጽሐፉ በነፃ። ማንም አላባረራትም። በሰባተኛው ሳምንት ጥላው ወጣች። ክቡራን ዳኞች፣ በነፃ የመጣ ነገር የሚያልቀው እንዲህ ነው።»

ሌላውን ግማሽ ያውቀው ነበር። ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠው።

አዳራሹ ውስጥ ትንሽ ሹክሹክታ ተነሳ። ዶን ኡሴቢዮ እንግሊዝኛው ብዙም አይደለም፤ ያንን የሐኪም ስም ግን ከቴሌቪዥኑ በላይ በየቀኑ ያነበዋል። ቀስ ብሎ ወደ ልጁ ዞረ።

የመጨረሻው ቃል የሮዛልባ ነበር፤ ሦስት ደቂቃ። መልሱ እጇ ላይ ነው። ኮሌጁ ነፃ ነበር፣ የቤቱ እራት ግን ነፃ አልነበረም ብትል፣ ዌይላንን ብቻ አይደለም፣ የካንሳስን ምክር ቤት ከነጣሪያው ትረታ ነበር። ማንበልበሉን ተወችው። የመጀመሪያውን ነጥብ መለሰች። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን፣ አራተኛውን መለሰች። ከዚያ አባቷን አየች፣ ወረቀቷን አጠፈች፣ «ጨርሻለሁ» ብላ ተቀመጠች። አንድ ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ተርፏት ነበር።

ሦስቱም ዳኞች ለዌይላን ሰጡ። የአንዱ ወረቀት ላይ «አምስተኛው ነጥብ አልተመለሰም» ተብሎ ተጽፏል።

ውጭ፣ መኪና ማቆሚያው ላይ ዋንጫውን እንደያዘ ደረሰባት።

«ለምን አልመለስሽም? ታሸንፊኝ ነበር እኮ!»

«ብመልስ አባቴ ይሰማል።»

«ስም አልጠራሁም፣ ሮዛልባ።»

«ያ ዕድል በዓመት ለስንት ሰው ነው የሚሰጠው?»

«ለአንድ» አለ።

«እኮ።»

«አሁኑኑ ሄጄ ለአባትሽ እውነቱን እነግራቸዋለሁ። እግራቸው ሥር እወድቃለሁ።»

«እንዳታደርገው!» ክንዱን ያዘችው። በሕይወቱ እንደዚያ አጥብቆ የያዘው ሰው የለም። «ዕድሏን የጣለች ልጅ አለችኝ ብሎ ይናደድብኝ። ንዴት አይገድለውም። ልጄ ቄራ ቆማ አበላችኝ ብሎ ግን አንገቱን ሲደፋ ማየት አልችልም። ግማሹን ነግረኸዋል። ሌላውን ግማሽ እንዳትነካብኝ። ማልልኝ።»

«ሮዛልባ...»

«ያን ጊዜ አላስማልኩህም። አሁን ማል።»

ማለ። እሷም እጇን ከክንዱ ላይ አነሳች፤ ጣት በጣት፣ ቀስ እያለች። ከዚያ ወዲህ አልነካችውም።

ስልኳን አታነሳም። ቤቷ በር ላይ ሲቆም ታናናሽ እህቶቿ በመጋረጃ ያዩታል እንጂ አይከፍቱለትም። በግንቦት ኦማሃ ወዳለችው አክስቷ ሄደች ተባለ። ዌይላን በነሐሴ ሎረንስ አልሄደም። የከተማው ጥግ ላይ ብየዳ ቤት ተቀጠረ፤ በዚያ ዓመት የሠራውን በር ሁሉ ብታሰልፉት ኦማሃ ደርሶ ይመለሳል።

በመስከረም አንድ ቀን፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ዶን ኡሴቢዮ ብየዳ ቤቱ ገባ። ባርኔጣውን አወለቀ። ዌይላን ጭንብሉን ከፊቱ ገፍቶ ተነሳ።

«ተቀመጥ ልጄ፣ ተቀመጥ» አለ ሽማግሌው። «ሳልመጣ ቆየሁ። አፍሬ ነው።»

«እርስዎ? በምን?»

«በልጄ። አንተ በሰው ፊት ቆመህ እውነቱን ተናገርክ። ስሟን ሳትጠራ፣ በጨዋ ደንብ። እኔ ደግሞ ስላንተ ጭንቅላት ክፉ አስቤ ነበር። ይቅር በለኝ።»

«ዶን ኡሴቢዮ፣ እባክዎ...»

«ስትሄድ አልሸኘኋትም። ቁማ ጠበቀችኝ፤ ከክፍሌ አልወጣሁም። ምነው እንዳንተ ግልጽ ብትሆንልኝ!»

ዌይላን አፉን ከፈተ። የማለላትን አስታወሰ። ዘጋው።

ሽማግሌው በፎጣ የተጠቀለለ ሳህን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ገለጠው። በበቆሎ ቅጠል የታሰሩ ሦስት ታማሌ፣ ውስጡ ሥጋ ያለበት የበቆሎ ሊጥ፣ እንፋሎታቸው ገና ይወጣል።

«ፍሪዘር ውስጥ ነበሩ» አለ። «ከመሄዷ በፊት ስትሠራ አድራ ነው የሄደችው። እህቶቿም እኔም እየበላን ቆየን፤ የቀሩት እነዚህ ናቸው። እኔን አልወርድ አለኝ። አንተ ብላቸው።»

«አልችልም።»

«ብላ፣ ልጄ። በእጄ አሙቄ ነው ያመጣሁልህ።»

ዌይላን ጓንቱን አወለቀ። የመጀመሪያውን ቅጠል ፈታ። ሽማግሌው ፊት ለፊቱ ተቀምጦ፣ እንደ አባት፣ እስኪጨርስ ያየው ነበር። ሦስቱንም በላ።